የጀነሬተርና የሚክሰር ዕቅድ፦ አስተያየት እስከ ዓርብ

ጸሐፊው፦ የሐረር ግንባታ ሠራተኞች ማኅበራችንን የዕቅድ ረቂቅ እዚህ አስቀምጫለሁ። ባለፈው ስብሰባ የተባለውን ነው የጻፍኩት፣ ከራሴ የጨመርኩት የለም። አንድ ጀነሬተርና አንድ ባለ 350 ሊትር የኮንክሪት ሚክሰር በሊዝ እንወስዳለን። 20 በመቶው ከቁጠባችን፣ ቀሪው ከአከራዩ። ዕቃው በተራ ይወጣል። የገጠር ወረዳዎቹ ሶፊ፣ ኤረርና ድሬ ጥያራ ይቅደሙ ተብሏል። ከተማ ያላችሁ መብራቱም መንገዱም አላችሁና ታገሡ። ወጪው ከተራ ቁጥር 1 እስከ 9 ተዘርዝሯል። ከዓርብ በኋላ የሚመጣ አስተያየት አልቀበልም።

የኤረሩ በያጅ፦ የጀነሬተሩ ጉልበት ስንት ኬቪኤ እንደሆነ አልተጻፈም። ሚክሰር ያዞረ ሁሉ ብየዳ አይችልም። የዕድሩን በር ስበይድ ከሰፈሩ መስመር ነው የወሰድኩት። ኤሌክትሮዱን ባስነካሁ ቁጥር የጎረቤቱ አምፖል ሁሉ ይደበዝዛል። አንዷ እናት ቴሌቪዥኔን አቃጠልክብኝ ብለው እስከ ዛሬ አኩርፈውኛል። አንድ ነገር ከተገዛ በደንብ ይገዛ።

የሸንኮሩ ኤሌክትሪሺያን፦ ከ7.5 ኬቪኤ በታች አታስቡ። ፕሮፎርማውን፣ የሻጮቹን የዋጋ ማቅረቢያ ማለቴ ነው፣ ለእኔ ተዉት። ነገ ድሬዳዋ እወርዳለሁ፣ ሦስት ቦታ ጠይቄ ሰኞ በእጃችሁ ነው።

ገንዘብ ያዧ፦ ሰኞ ካልክ ሰኞ ይሁን። ብሩ በሐምሌ 2016 በገበያ ይመራ ከተባለ ወዲህ ፕሮፎርማ ውሎ አያድርም። ሻጩ «ዛሬ ከወሰድሽ በዚህ ዋጋ» ብሎ ነው የሚጽፈው። የትራንስፖርትህን ልኬልሃለሁ።

የአቦከሩ ሴራሚክ ሠሪ፦ ተራ ቁጥር 6ን ያነበበ ሰው አለ? «የአህያ ጭነት» ይላል። አቦ ምንድነው እሱ? ይሄን ወረቀት ይዘን ነው ሊዝ ቢሮ የምንገባው? ሰው ባለ 350 ሊትር ሚክሰር እየጠየቀ አህያ ይጽፋል? ከዚያ ቢሮ ሳንወጣ ይስቁብናል። ይውጣ።

የሶፊው ግንበኛ፦ አህያው ምን አደረገህ?

የአቦከሩ ሴራሚክ ሠሪ፦ ምንም አላደረገኝም ጋሼ። ወረቀት ላይ አይግባ ነው ያልኩት። «ትራንስፖርት» ብላችሁ ጻፉት፣ አለቀ።

የሶፊው ግንበኛ፦ ትራንስፖርት ተብሎ ከተጻፈ አይሱዙ ነው ብለው ያስባሉ። አይሱዙው አስፋልቱ ዳር አራግፎ ይሄዳል። ከዚያ ወዲያ ድንጋዩም፣ አሸዋውም፣ ሲሚንቶውም በአህያ ነው። አንድ አህያ አንድ ከረጢት ሲሚንቶ፣ 50 ኪሎ፣ ከዚያ በላይ አታስጭነውም። ጭነቱን በሁለት ጎን ካላመጣጠንክ ዳገቱ ላይ ሸርተት ብሎ ገደል ነው። እኔ ሥራ ስዋዋል ከሠራተኛ በፊት የማወራው ባለ አህያውን ነው። ዝርዝሩን ያስገባሁት እኔ ነኝ፣ አይወጣም።

ቀለም ቀቢዋ፦ ገጠር ብቻ መሰለህ እንዴ? ጁገል፣ ግንቡ ውስጥስ በምን ልትገባ ነው? ያንተ ሴራሚክ ከኤረር በር ወደ ውስጥ የገባው በምን ነበር? እዚያ ጠባብ መንገድ ላይ ሁለት ሰው ሲተላለፍ አንዱ ግድግዳ ይጠጋል። ባለፈው የአንድ ሰው ቤት ነደባ፣ የመቀመጫ መደቡን፣ ቀይ ቀለም ላድስ ስገባ ቀለሜም፣ መሰላሌም፣ ኖራዬም በአህያ ነው የገባው። ቱሪስት ቆሞ ፎቶ አነሳን፣ ማንም አላፈረም።

የአቦከሩ ሴራሚክ ሠሪ፦ ቱሪስትና ሊዝ ቢሮ አንድ ነው? ኤጭ።

የድሬ ጥያራው አናጺ፦ አህያውን ተዉትና መንገዱን ጠይቁ። ምርጫ በደረሰ ቁጥር ሰው ከነሜትሩ ይመጣል፣ ይለካል፣ ካስማ ይቸክላል። ካስማው አሁንም አለ። ፍየል እያሠርንበት ነው። መንገድ ቢኖር ሚክሰር ተከራይተን በመኪና እናስገባው ነበር። ዕቅዱ «የመጋቢ መንገድ ጥያቄ» ቢባል እኔ ፊርማ ላሰባስብ።

ጸሐፊው፦ ፖለቲካውን እዚህ አታምጡብኝ። የመንገድ ጥያቄ ለወረዳ ነው፣ ይሄ ለሊዝ ነው። በአንድ ወረቀት ሁለት ቢሮ ካስቆጣን የሚሰማን አናገኝም።

ገንዘብ ያዧ፦ ስሙ አይደለም እኔን የጨነቀኝ። ደረሰኝ ነው። አህያ ደረሰኝ አይቆርጥም፣ ባለ አህያውም ቲን ቁጥር የለውም። ተራ ቁጥር 6 ከጀነሬተሩ ነዳጅ ይበልጣል። አያችሁት? ኦዲት ሲመጣ ይሄን ያህል ብር በምን አስረዳለሁ? በአውራ ጣት አሻራ?

የኤረሩ በያጅ፦ በግዢ ቫውቸር ይያዛላ። ደረሰኝ ለሌለው ሻጭ እሱ ነው የሚሠራው።

ገንዘብ ያዧ፦ ቫውቸሩ ስም፣ መታወቂያና ፊርማ ይጠይቃል። ኤረር በር የቆሙት ልጆች በየቀኑ ይቀያየራሉ። የማንን ስም ልጻፍ?

የአቦከሩ ሴራሚክ ሠሪ፦ ይኸው! አላልኩም? ይውጣ ብያችሁ ነበር። ገጠሬነት ነው ይሄ፣ ሌላ ስም የለውም።

የሶፊው ግንበኛ፦ ገጠሬ? አንተ ቱምቢ መያዝ የተማርከው ከማን ነው? መጀመሪያ የሠራኸውን ግድግዳ ማን አፍርሶ እንዳቀናልህ ልናገር? ሴራሚክህ የሚለጠፈው እኔ ባቆምኩት ግድግዳ ላይ ነው። ገጠሬ የሚባለውን ማኅበር ልቀቅና ከተሜዎቹን ሰብስበህ አቋቁም። ያስገባሁትንም ቁጠባ ቁጠሩልኝ።

ቀለም ቀቢዋ፦ ወላሂ አሁን አበዛኸው።

የአቦከሩ ሴራሚክ ሠሪ፦ አቦ ጋሼ፣ ቀልድ ነው። እርሶን አላልኩም። ወረቀቱን ነው ያልኩት።

የሶፊው ግንበኛ፦ ወረቀቱን የጻፈው ማን ሆነና?

ጸሐፊው፦ ጋሼ ቁጠባ ማውጣት በስብሰባ ብቻ ነው፣ ደንቡ ላይ አለ። ሁላችሁም ረጋ በሉ። ኤሌክትሪሺያኑ የት ነው? ሰኞ አለፈ።

የድሬ ጥያራው ቧንቧ ሠራተኛ፦ ዘግይቼ ነው ያነበብኩት። ውሃው የታለ? በረቂቁ ላይ ውሃ አላየሁም። ለአንድ ከረጢት ሲሚንቶ ከ25 ሊትር ያላነሰ ውሃ ትፈልጋላችሁ። ኮንክሪቱ ከፈሰሰ በኋላ ደግሞ ቢያንስ አንድ ሳምንት ጠዋት ማታ ውሃ ማጠጣት አለ። ካልጠጣ ይሰነጠቃል፣ ከዚያ ሰው ግንበኛውን ይሰድባል። ሐረር ራሷ ሐረማያ ሐይቅ ከከዳት ወዲህ በድሬዳዋ በኩል ውሃ ተገፍቶ በሚመጣላት አገር፣ እኛ ጋ ቦኖ ይኖራል ብላችሁ ነው? ውሃውም በአህያ ነው የሚመጣው። ተራ ቁጥር 6ን እጥፍ አድርጉት።

ገንዘብ ያዧ፦ እጥፍ!

የድሬ ጥያራው አናጺ፦ እንዲህ ከሆነማ ለኪራይ ከምንከፍል ለምን አንገዛም? ሁለት አህያና አንድ ጋሪ። ሲገዛ ደረሰኙ አንድ ጊዜ ነው፣ ከዚያ የማኅበሩ ንብረት ነው። ያንተም የኦዲት ጣጣ ያልቃል።

ገንዘብ ያዧ፦ «ያንቺም» በል። ግን ሐሳቡ ክፉ አይደለም።

የኤረሩ በያጅ፦ ጋሪውን ለእኔ ስጡኝ። ከአሮጌ መኪና አክሰልና ጎማ፣ ፍሬሙ ባለ 40 በ40 ቱቦላሬ፣ ወለሉ ላሜራ። ቱቦላሬው ቀጭን ከሆነ በመጀመሪያው ጉድጓድ ይጎብጣልና 2 ሚሊ ይሁን። ዋጋ አልጎዳችሁም።

የአቦከሩ ሴራሚክ ሠሪ፦ ኦሆ። አባል ለማኅበሩ ይሸጣል ማለት ነው? እኔ ሚክሰሩን ብሸጥላችሁስ?

የኤረሩ በያጅ፦ የእጅ ዋጋ አልጠየቅኩህም ሰውዬ! ብረቱን ግዙ፣ ኤሌክትሮዱን ግዙ፣ መብራቱን ስጡኝ፣ በነፃ ነው። መብራት ከሌለ ደግሞ ያ ጀነሬተር ይምጣ።

ቀለም ቀቢዋ፦ አህያው ማታ የት ያድራል?

የድሬ ጥያራው አናጺ፦ ጋጣ ይሠራለታላ።

ቀለም ቀቢዋ፦ ሐረር ነው ያለኸው። በእንጨት አጥር? ከፈላና በር ውጪ ማታ ማታ ጅብ ሥጋ የሚያበሉ ሰዎች ባሉበት ከተማ? ሥጋው ያልደረሰው ጅብ ወዴት የሚሄድ ይመስልሃል?

የአቦከሩ ሴራሚክ ሠሪ፦ የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም። ባሎቹ እኛ ነን እንግዲህ።

የሶፊው ግንበኛ፦ አሁን ጥሩ ተናገርክ። ጋጣው በድንጋይ ይሁን። 60 ሳንቲ ውፍረት፣ በጭቃ ይያያዝ፣ ውስጡ በኖራ ይለሰን። በጭቃ የተያያዘ ድንጋይ ላይ ሲሚንቶ እንዳትለስኑ፤ እርጥበቱን አፍኖ ልስኑን በሁለት ክረምት ይጥለዋል። ጁገል ውስጥ ስንት የአባቶች ቤት በዚህ ተበላሸ። በ1998 ዩኔስኮ ከመዘገበው በኋላ እንኳ በሲሚንቶ የሚለስን ሰው አለ። ጅቡ ግን ግድግዳ አይነካም፣ ከበሩ ሥር ነው የሚቆፍረው። ስለዚህ ደፉ ሥር ግማሽ ሜትር ወርዳችሁ ኮንክሪት ሙሉበት። ትንሽ ስለሆነ በእጅ እናቦካዋለን።

ጸሐፊው፦ ጋሼ፣ ዕቅዱ የማሽን ነው።

የሶፊው ግንበኛ፦ ማሽኑስ የት ያድራል? አብሮ በዚያው ይደር። ግማሹ ጋጣ፣ ግማሹ መጋዘን።

የድሬ ጥያራው ቧንቧ ሠራተኛ፦ ተስማምቻለሁ። ከጣሪያው አሸንዳ ወርዶ ሮቶ ይሞላል። ክረምት ላይ የቡኬት ውሃ አንገዛም።

የድሬ ጥያራው አናጺ፦ ቦታም አለ። ቀበሌው ወንዙ ዳር ያለችውን ትርፍ መሬት ለማኅበር እሰጣለሁ ብሎ ነበር። ደረቅ ናት፣ ጥርጊያ መንገድ ይደርሳታል።

ገንዘብ ያዧ፦ ወንዝ ዳር አልፈርምም። ድሬዳዋ ነው ያደግኩት። የደቻቱ ወንዝም ደረቅ ነበር። ልጆች ኳስ ይጫወቱበት ነበር፣ ነጋዴ ዕቃ ይዘረጋበት ነበር። ሐምሌ 1998 ሌሊት ላይ ጎርፉ መጣ። ከተማው ላይ ያን ያህል ዝናብ እንኳ አልነበረም፣ ከላይ ከደጋው የዘነበው ነው የወረደው። ከሁለት መቶ ሰው በላይ ነው የሞተው። ደረቅ ናት አትበሉኝ።

የድሬ ጥያራው አናጺ፦ እሺ። ከትምህርት ቤቱ በላይ ያለውን እጠይቃለሁ።

የኤረሩ በያጅ፦ ሌላ ነገር። ማደያ ጀሪካን ይዘህ ስትሄድ አይቀዱልህም። ጀነሬተር እየገፋሁ ማደያ ልሰለፍ አልችልም። ደብዳቤ ከንግድ ቢሮ ያስፈልጋል። ማን ይከታተላል?

ጸሐፊው፦ ኤሌክትሪሺያኑ ይከታተል ተብሎ ነበር። ስልኩ ይጠራል፣ አያነሳም።

ቀለም ቀቢዋ፦ ትናንት ጅግጅጋ ሥራ ይዞ ሄደ ሲሉ ሰማሁ። የሆቴል ሽቦ ዝርጋታ ነው አሉ። ቶሎ አይመጣም።

ገንዘብ ያዧ፦ የትራንስፖርቱንስ?

የአቦከሩ ሴራሚክ ሠሪ፦ 😂

ጸሐፊው፦ ፕሮፎርማ በሌለበት ሚክሰርና ጀነሬተር ማስገባት አልችልም። ሊዝ ቢሮው ከነማኅተሙ ሦስት ይፈልጋል። ስለዚህ እነሱ ወደ ሁለተኛ ዙር ይዛወሩ። አሁን ከራሳችን ቁጠባ የሚሠራውን እናጽድቅ፣ ቦታውን ለቀበሌው እንጠይቅ። የተሻሻለው ይሄ ነው፦

«የማኅበሩ የዕቃ ማቆያና የአካባቢ ማጓጓዣ አቅም ግንባታ። የድንጋይ ቤት፣ ሁለት ክፍል። የውሃ ማጠራቀሚያ፣ ባለ 5 ሺህ ሊትር። ባለ ሁለት ጎማ ጋሪ አንድ። የጋሪ ጎታች፣ ሁለት።»

ቀለም ቀቢዋ፦ የጋሪ ጎታች?

ጸሐፊው፦ ከአቦከር የመጣውን ተቃውሞ ለማክበር ነው። ቃሉ አንድም ቦታ የለም።

የአቦከሩ ሴራሚክ ሠሪ፦ አሁን ወረቀት ሆነ። እፈርማለሁ። ቅዳሜ ኦሮምኛና ሐረሪውን ላስተረጉም፣ ወጪው በእኔ።

የሶፊው ግንበኛ፦ ስሙን እንደፈለጋችሁ። ከየት ነው የሚገዛው? ባቢሌ ገበያ ሂዱ፣ ጥርሱን አይታችሁ ግዙ። ጀርባው የቆሰለ እንዳትወስዱ፣ ሻጩ በጆንያ ሸፍኖ ነው የሚያቀርበው። ጆንያውን አንሱ በሉት።

ገንዘብ ያዧ፦ የግንባታው ተጨማሪ መዋጮ በነፍስ ወከፍ 500 ብር። እስከ ሐሙስ በቴሌብር። ያልከፈለ ስሙ ከተራ ይወርዳል።

የድሬ ጥያራው አናጺ፦ ተራው የምን ተራ ነው አሁን? የጋሪ?

ገንዘብ ያዧ፦ የጋሪ።

የኤረሩ በያጅ፦ እኔ 500 እከፍላለሁ፣ ግን ጋሪው መጀመሪያ ኤረር ይምጣ። ገጠሩ ይቅደም ተብሏል።

የሶፊው ግንበኛ፦ ሶፊ ነው ቀድሞ የተጻፈው። ረቂቁን አንብብ፣ «ሶፊ፣ ኤረርና ድሬ ጥያራ» ይላል።

የኤረሩ በያጅ፦ እሱ የስም አጻጻፍ ነው እንጂ ቅደም ተከተል አይደለም! በነፃ እየበየድኩ ወረፋ ልጠብቅ?

ጸሐፊው፦ በዕጣ ይሁን። ስለ ተራ ከዚህ በኋላ የሚጽፍ መዋጮው እጥፍ ነው። ቆርቆሮው 35 ጌጅ ተብሎ ተይዟል። ተቃውሞ ከሌለ ሰኞ አስገባለሁ።

የድሬ ጥያራው አናጺ፦ 35? ጌጁ በጨመረ ቁጥር ቆርቆሮው ይሳሳል፣ ወረቀት እኮ ነው! የመጀመሪያው የጥር ንፋስ ገንጥሎ ጎረቤት ደጅ ነው የሚጥለው። ምስማሩ ቀዳዳውን እያሰፋው ይወጣል። ጣሪያውን የምመታው እኔ ነኝ፣ የሚሰደበውም እኔ ነኝ። 32 ካልሆነ ፊርማዬን አንሱልኝ።

ገንዘብ ያዧ፦ 32 ከሆነ 500ው አይበቃም።

የአቦከሩ ሴራሚክ ሠሪ፦ ሮቶውን ወደ 2 ሺህ ሊትር አውርዱት።

የድሬ ጥያራው ቧንቧ ሠራተኛ፦ ሮቶውን የነካ ከእኔ ጋር ነው።