ለነርቭ ማደንዘዣ የሚሆን ካቴተር እንዳይታጠፍ፦ ግድግዳውን ላወፍር ወይስ ሽቦ ልጠቅልልበት?

ተመራቂዋ፣ ጅማ

ጤና ይስጥልኝ። የባዮሜዲካል ምህንድስና የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ሥራዬ የጭን አጥንቱ ለተሰበረ ታካሚ ማደንዘዣ መድኃኒት እስከ ነርቩ አጠገብ ቀስ እያለ የሚያደርስ ቀጭን ቱቦ (ካቴተር) ነው። መድኃኒቱ ቡፒቫኬይን ነው። የሚገፋው ደግሞ ኤሌክትሪክ የማይፈልግ፣ በላስቲክ ፊኛ ግፊት የሚሠራ ፓምፕ ነው፤ ፍሰቱ በሰዓት 5 ሚሊ ሊትር ነው። መብራት በሚቆራረጥበት ሆስፒታል እንዲህ ያለው ፓምፕ ብዙ ሕመም ያስታግሣል ብዬ አምናለሁ። ሥራው ገና በቤተ ሙከራ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ወደ ሰው አልደረሰም።

ካቴተሩ በ17 ጌጅ መርፌ ውስጥ ማለፍ ስላለበት የውጭ ስፋቱ ከ1 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ ወስኛለሁ። መድኃኒቱ በቀላሉ እንዲፈስ የውስጥ ስፋቱን 0.8 ሚሊ ሜትር አድርጌዋለሁ። ርዝመቱ 90 ሴንቲ ሜትር ነው፤ የተሠራው ከቴፍሎን ነው። ቀጥ ብሎ ሲዘረጋ ፍሰቱ መልካም ነው። ሰው ሲቀመጥ ብሽሽቱ በሚታጠፍበት ልክ ሳጎብጠው ግን አንድ ቦታ ላይ ተጨፍልቆ ይዘጋል። ካቃናሁት በኋላም ነጭ መስመር ይቀርበታል፤ ቀጥሎ የሚታጠፈውም እዚያው ቦታ ላይ ነው።

አማካሪዬ በውስጡ የሽቦ ጥቅል እንዳስገባ ይመክሩኛል። የክፍል ጓደኛዬ ግድግዳውን አወፍሪው ይለኛል። ግድግዳው ከወፈረ መተላለፊያው ይጠባል፤ ሽቦ ካስገባሁ ደግሞ ሥራው ይከብደኛል። በዚህ ሙያ ያላችሁ እባካችሁ ከየት እንደምጀምር ንገሩኝ።

ቱቦ ሠሪው፣ ሚኒያፖሊስ

እኅቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ ደስ አለኝ፤ እንጀራዬ ይኸው ነውና። ሚኒሶታ የሕክምና መሣሪያ ፋብሪካዎች የተሰባሰቡባት ግዛት ናት። እኔም እዚህ የካቴተር ቱቦ በሚሠራበት ክፍል መሐንዲስ ነኝ። ረዘም አድርጌ ብጽፍ አትሰልቺ።

በመጀመሪያ ያንን 0.8 ሚሊ ሜትር ተይው። አብዛኛው ችግርሽ ያለው እሱ ላይ ነው።

ቱቦ ሲጎብጥ የውጭው ጎን ይለጠጣል፣ የውስጠኛው ጎን ይጨመቃል፤ ሁለቱም ወደ መሐል መጠጋት ይፈልጋሉ። ስለዚህ ክብ የነበረው መተላለፊያ ሞላላ ይሆናል። ሞላላ የሆነ ቱቦ ለመጉበጥ ይበልጥ ይቀለዋል፤ ይበልጥ በጎበጠ ቁጥር ደግሞ ይበልጥ ይጨፈለቃል። በመጨረሻ አንድ ቦታ ላይ ድንገት ይከዳል። ይህን እ.ኤ.አ. በ1927 በሒሳብ ያስቀመጠው ብሬዚየር ነው። ከእሱ ሒሳብ ለአንቺ የሚበጅሽ ይህ ነው፦ ቱቦው ሳይታጠፍ ሊጎብጥ የሚችልበት ትንሹ ቅስት በቱቦው አማካይ ራዲየስ ካሬ ልክ ያድጋል፣ በግድግዳው ውፍረት ልክ ያንሳል።

የአንቺን ቱቦ እንውሰድ። አማካይ ራዲየሱ 0.45፣ ግድግዳው 0.1 ሚሊ ሜትር ነው። የራዲየሱ ካሬ ለውፍረቱ ሲካፈል 2 ገደማ ይመጣል። የውጭውን 1 ሚሊ ሜትር ሳትነኪ የውስጡን ወደ 0.5 ብታወርጂው አማካይ ራዲየሱ 0.375፣ ግድግዳው 0.25 ይሆንና ውጤቱ ወደ 0.56 ይወርዳል። አዲሱ ቱቦ ከቀድሞው ከሦስት እጥፍ በላይ በጠበበ ቅስት ይጎብጣል ማለት ነው። ሒሳቡ የተሠራው ግድግዳው ስስ ለሆነና እንደ ላስቲክ ወደ ቦታው ለሚመለስ ቱቦ ስለሆነ ቁጥሩን ለማወዳደሪያ ብቻ ተጠቀሚበት። ትክክለኛውን ራዲየስ የሚነግርሽ ሙከራሽ ነው።

አሁን ወደ ፈራሽው ነገር እንሂድ፤ ወደ ፍሰቱ። በፖይዙይ ሕግ መሠረት ግፊቱ በራዲየሱ አራተኛ ኃይል ይወሰናል፤ ስለዚህ መፍራትሽ ተገቢ ነው። ግን ቁጥሩን አስልተሽ ፍሪ። በሰዓት 5 ሚሊ ሊትር ውኃ በ90 ሴንቲ ሜትር ቱቦ ውስጥ ሲያልፍ፣ የውስጥ ስፋቱ 0.8 ከሆነ የሚባክነው ግፊት 1 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ያህል ነው። ወደ 0.5 ስታጠቢው 6 ገደማ ይሆናል። የፊኛ ፓምፕ ግፊት በመቶዎች ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው የሚቆጠረው፤ ፍሰቱን የሚወስነውም በራሱ መስመር ላይ ያለው እጅግ ጠባብ ማገጃ ነው። ስድስቷ ለእሱ ምንም አይደለችም። 0.25 ድረስ ከወረድሽ ግን ግፊቱ ወደ 100 ይጠጋል፤ ያኔ ፓምፑ ከታሰበለት በታች ይሰጣል። ደም በብዛት ለሚቀዳበት ካቴተር ሰፊ መተላለፊያ ግድ ነው። በዝግታ ለሚንጠባጠብ መድኃኒት ግን ስፋቱን ለግድግዳው መስጠት ይቻላል፤ ይህ ዕድል ሳትጠቀሚበት እንዲያልፍ አልፈልግም።

ሁለተኛ፣ ቴፍሎኑን ቀይሪው። ያየሽው ነጭ መስመር ቁሱ ከአቅሙ በላይ ተለጥጦ መቅረቱን ያሳያል፤ ከዚያ በኋላ ያ ቦታ እንደ ማጠፊያ ይሆናል። ፖሊዩሬቴን ወይም ለስላሳ ናይለን ሲጎብጥ ይሻላል፤ ሲቃናም ይመለሳል። ፖሊዩሬቴን በሰውነት ሙቀት ይበልጥ እንደሚለሰልስ አትርሺ። ለታካሚው ምቹ ነው፤ ለአንቺ ግን በክፍል ሙቀት የለካሽው ሁሉ ያታልልሻል። ናሙናውን 37 ዲግሪ ሴልሽየስ ውኃ ውስጥ አቆይተሽ እዚያው ውኃ ውስጥ አጎብጪው።

ሽቦውን በተመለከተ አማካሪሽ ልክ ናቸው፤ ነገር ግን ሁለተኛ እርምጃ ነው። በግድግዳው ውስጥ የተቀበረ የሽቦ ጥቅል መተላለፊያው ሞላላ እንዳይሆን ከየአቅጣጫው ይይዘዋል። ጥልፍልፍ ሽቦ ደግሞ ቱቦው ግፊት እንዲችልና አንዱ ጫፍ ሲዞር ሌላውም አብሮ እንዲዞር ይረዳል፤ ወደ ልብ ለሚገባ ካቴተር ይህ ወሳኝ ነው። የአንቺ ችግር መጨፍለቅ ስለሆነ ጥቅሉ ይበልጥሻል። ጥቅሉን የምታስገቢው ግን ወፍራሙን ግድግዳ ሞክረሽ ካልበቃሽ ነው።

ከሁሉ በላይ ልብሽ ላይ እንዲቀር የምፈልገው ይህንን ነው። ቱቦ በመሐሉ የሚታጠፈው ከስንት አንዴ ነው። የሚታጠፈው ጠንካራ የሆነው ክፍል አልቆ ለስላሳው በሚጀምርበት መስመር ላይ ነው፦ ከፓምፑ መስመር ጋር ከሚያገናኘው መጋጠሚያ አፍ ላይ፣ ከቆዳው መውጫ ላይ፣ ሽቦው በሚያልቅበት ጫፍ ላይ። ያማረ ቱቦ ሠርተሽ በደረቅ ፕላስቲክ መጋጠሚያ ውስጥ ብትሰኪው እዚያው አፉ ላይ ይታጠፋል። ስለዚህ መጋጠሚያውን የቱቦው አካል አድርገሽ ንደፊው። ጥንካሬው በጥቂት ሴንቲ ሜትር ውስጥ ቀስ በቀስ ይውረድ እንጂ በአንድ መስመር ላይ አይቆረጥ።

ሰመመን ሰጪ፣ ባሕር ዳር

ከላይ የተባለውን ከአልጋ አጠገብ ሆኜ ላረጋግጥላችሁ። ካቴተር ተዘጋ ተብዬ ስጠራ መጀመሪያ የማየው ፕላስተሩን ነው። ፕላስተሩ ሲነሣ ቱቦው ከቆዳው እንደወጣ በሹል ማዕዘን ተጣጥፎ ይገኛል። ቀጥሎ የማየው መጋጠሚያውን ነው፤ ከመጠን በላይ ከተጠበቀ ቱቦውን ራሱ አንቆ ይይዘዋል። ከቆዳ በታች ያለውን የማስበው ከእነዚህ በኋላ ነው።

እኅታችን፣ የፊኛ ፓምፕ መምረጥሽን እደግፋለሁ፤ ነገር ግን አንድ ነገር አስቢበት። ያ ፓምፕ ማስጠንቀቂያ የለውም። ካቴተሩ ቢታጠፍ ፊኛው እንደተነፋ ይቀመጣል፤ የሚጮኸው ታካሚው ነው፤ ያውም ቀድሞ የተሰጠው መድኃኒት ሲያልቅለት፣ በሌሊት። ስለዚህ አለመታጠፉ እዚህ ላይ የምቾት ጉዳይ አይደለም። ነርሷ ከፕላስተሩ በላይ ሆና መስመሩን በዓይኗ ልትከተለው እንድትችል ቱቦው የሚታይ ቀለም ይኑረው፤ በየሴንቲ ሜትሩም ምልክት ይደረግበት። ምን ያህሉ ወደ ውስጥ እንደገባ የምናውቀው በምልክቱ ነው።

ግድግዳውን ስታወፍሪ ጫፉ እንዳይደርቅ ተጠንቀቂ። ደረቅ ጫፍ ነርቭ ይጎዳል፣ የደም ሥርም ይወጋል። የሽቦ ጥቅል ያላቸው ካቴተሮች የሚወደዱት ጫፋቸው ለስላሳ ሆኖ ስለሚሠራ ነው። ሽቦ ካለ ግን ታካሚው ኤምአርአይ ውስጥ ከመግባቱ በፊት የአምራቹ መመሪያ መታየት አለበት፤ ስለዚህ ሽቦ እንዳለበት ካቴተሩ ላይ ወይም መጋጠሚያው ላይ ይጻፍ።

ሌላው የመጋጠሚያው ዓይነት ነው። ቡፒቫኬይን በስሕተት ወደ ደም ሥር ቢገባ ልብ ሊያቆም ይችላል። አይኤስኦ 80369-6 የተባለው ደረጃ የወጣው የአከርካሪና የነርቭ ማደንዘዣ መስመር ከደም ሥር መስመር ጋር እንዳይገጥም ነው። ንድፍሽን ከመጀመሪያው በዚያ ላይ መሥርቺው። ካቴተሩንም በመርፌው ውስጥ ወደ ኋላ የሚስብ ሰው እንዳይኖር መመሪያሽ ላይ በጉልህ ጻፊ፤ የመርፌው ስለት ቆርጦ ሰውነት ውስጥ ያስቀረዋል።

የፓምፕ ተጠቃሚ፣ ናታንያ

እኔ መሐንዲስ አይደለሁም፤ የዓይነት አንድ ስኳር ታማሚ ነኝ፣ በኢንሱሊን ፓምፕ እኖራለሁ። ከቆዳዬ በታች የሚገባው የቴፍሎን ቱቦ 6 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ እሱም ይታጠፋል። ከውጭ ሲታይ ሁሉም ነገር ደኅና ይመስላል። ስኳሬ ሲወጣ ነቅዬ አየዋለሁ፤ ጫፉ እንደ መንጠቆ ተቆልምሟል።

የኔ ፓምፕ ማስጠንቀቂያ አለው፤ ግን ይዘገያል። አንድ ዩኒት ኢንሱሊን 10 ማይክሮ ሊትር ነው። ፓምፑ በሰዓት ግማሽ ዩኒት ሲሰጥ የሚገፋው 5 ማይክሮ ሊትር ብቻ ስለሆነ መስመሩ ውስጥ ማስጠንቀቂያውን የሚቀሰቅስ ግፊት እስኪጠራቀም ሰዓታት ያልፋሉ። ያን ጊዜ ሁሉ ሰውነቴ ኢንሱሊን አያገኝም። እጥፋቱ በድንገት ሲቃና ደግሞ የተጠራቀመው በአንድ ጊዜ ይገባል። እባክሽ ቱቦሽ ታጥፎ የተፈታ ጊዜ ምን ያህል መድኃኒት በአንድ ጊዜ እንደሚለቅም ለኪ።

ተመራቂዋ፣ ጅማ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። የ0.5 ሚሊ ሜትሩን ሒሳብ ራሴ ሠርቼ አየሁት፤ ልክ ነው። ፖሊዩሬቴን ቱቦ ለማግኘት ጥያቄ አስገብቻለሁ። ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት፦ እዚህ የቱቦ ማምረቻ ማሽን የለንም። ያሉን ምድጃ፣ ሙቅ አየር የሚነፋ መሣሪያና የላቦራቶሪ ሚዛን ናቸው። ጥንካሬው ቀስ በቀስ የሚወርድ መጋጠሚያ በእነዚህ መሥራት ይቻላል? ፈተናውንስ እንዴት ላድርገው?

ቱቦ ሠሪው፣ ሚኒያፖሊስ

በሚገባ ይቻላል። የባሕር ዳሩን ባለሙያ ምክር አትመሽ ግድግዳ ላይ ለጥፊው፤ ፕላስተሩና መጋጠሚያው ያሉት እውነት ነው። የናታንያው ወንድማችን ያነሣው ጉዳይም እኛ ፋብሪካ ውስጥ በቂ የማናወራበት ነገር ነው። ግድግዳው በላላ ቁጥር ቱቦው ተነፍቶ ብዙ ፈሳሽ ያጠራቅማል፤ ወፍራሙ ግድግዳ እዚህም ይረዳሻል።

ለመጋጠሚያው፣ ሲሞቅ የሚኮማተር ስስ ቱቦ በሦስት የተለያየ ርዝመት ቁረጪ። መጀመሪያ ረጅሙንና ለስላሳውን በካቴተሩ ላይ አልብሺው፤ በላዩ ላይ መካከለኛውን፣ በመጨረሻ አጭሩን። ሁሉም በመጋጠሚያው በኩል እኩል ይጀምሩ፣ በሌላው በኩል ደረጃ በደረጃ ይለቁ። ስታሞቂ መተላለፊያው እንዳይጠብ 0.5 ሚሊ ሜትር የሆነ ለስላሳ የብረት ሽቦ ውስጡ ይኑር፤ ሲቀዘቅዝ ይወጣል። ስትመርጪም ፖሊዩሬቴኑን በማያቀልጥ ሙቀት የሚኮማተር መሆኑን አረጋግጪ።

ወደ ሽቦ ጥቅሉ የምትሻገሪ ከሆነም መንገዱ ተመሳሳይ ነው፦ ስስ የውስጥ ቱቦ በብረት ሽቦ ላይ፣ በላዩ ጥቅሉ፣ በላዩ የውጭው ቱቦ፣ ከሁሉም በላይ የሚኮማተር ቴፍሎን። በሙቅ አየር ስትሄጂበት የውጭው ቀልጦ በጥቅሉ መሐል ይገባል፤ ከዚያ የላይኛውን ትልጪዋለሽ። ወደ ጫፉ ስትቃረቢ በጥቅሉ ዙሮች መካከል ያለውን ርቀት እያሰፋሽ ጨርሺ። የሽቦው ጫፍ በፕላስቲኩ ውስጥ ተቀብሮ ይቅር፤ ቆዳ ላይ የሚወጣ የሽቦ ጫፍ አደገኛ ነው።

ፈተናውን ሚዛኑ ይሠራልሻል። በሰዓት 5 ሚሊ ሊትር ማለት በ10 ደቂቃ 0.83 ግራም ነው፤ ጥሩ ሚዛን ይህን በትክክል ይለየዋል። ከሰፊ ጀምረሽ እየጠበቡ በሚሄዱ ክብ ዘንጎች ላይ ቱቦውን ጠምጥሚ፤ ፓምፑ እንደተገጠመ በየዘንጉ የወጣውን መዝኚ። ውኃው እንዳይተንብሽ መቀበያውን ክደኚ። እዚህ አውሮፓ ያወጣውን ኢኤን 13868 የተባለ ደረጃ እንጠቀማለን፤ የተጻፈው በተለይ አንድ መተላለፊያ ላላቸው ካቴተሮች መታጠፍ ስለሆነ ለመመረቂያ ጽሑፍሽ መሠረት ይሆንሻል። ከእያንዳንዱ ዘንግ በኋላ ቱቦውን አቃንተሽ እንደገና መዝኚ፤ ወደ ቀድሞው ፍሰቱ ካልተመለሰ ያ ንድፍ ወድቋል።

ሌላው ፈተና የመጋጠሚያው ነው፤ መጋጠሚያውን ያዢና ቱቦውን ከአፉ ላይ ወደ ጎን በ90 ዲግሪ ደጋግመሽ አጎብጪው፤ ታካሚው ሲቀመጥና ሲነሣ እንደሚሆነው። ይህንን ፈተና ከሁሉም አስቀድሚው። የዘንጉ ፈተና ላይ አልፈው እዚህ የሚወድቁ ብዙ ናቸው። ውጤቱ ሲደርስ ቁጥሮቹን እዚሁ ጻፊልን፤ አብረን እናያቸዋለን።