የበልጉ መቅረት የማን ዕዳ ነው? ክርክር በሰሜን ሸዋ ሰዎች መካከል

የክርክሩ ከፋች፣ ደብረ ብርሃን
ወገኖቼ፣ ለክርክር የቀረበው ነጥብ ይህ ነው። አንዳንዶቻችን «በመንዝ፣ በግሼና በጣርማበር በልግ የሚቀረው ደኑን ጨፍጭፈን፣ ተራራውን አራቁተን ነው፤ ጥፋቱ የራሳችን ነው» እንላለን። ሌሎቻችን ደግሞ «የአየር ንብረቱን ያዛባው የበለጸጉት አገሮች የፋብሪካና የመኪና ጭስ ነው፤ የሸዋ ገበሬ ምን አደረገ?» እንላለን። በበልግ ገብስ የሚኖር ሰው ከየካቲት ጀምሮ ሰማይ ሰማይ እያየ ስለሚከርም ነገሩ ለወግ ማሳመሪያ የተነሣ አይደለም። የመሰላችሁን ተናገሩ፤ ስድብ ግን አይፈቀድም።

ገበሬ፣ ሞላሌ
እኔ ጥፋቱ የራሳችን ነው ከሚሉት ወገን ነኝ። አባቶቻችን በመንዝ ያለውን የጓሳን ሣር በአጽመ ርስት ሕግ ለዓመታት ሳይነካ አቆይተው ሲቸግር ብቻ ይከፍቱት ነበር። በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ያ ሥርዓት ሲፈርስ ጠባቂ የሌለው መሬት ምን እንደሚሆን በዓይናችን አየን። ዛሬ ጓሳ እንደገና ተከልሎ ጭላዳውም ቀይ ቀበሮውም አለ፤ ከጓሳ ወጣ ያለው ተራራ ግን ራቁቱን ነው። ዝናብ ቢመጣ እንኳ አፈሩን ጠርጎ ወደ ጀማ ወንዝ ይወርዳል እንጂ መሬት አይገባም። ተዳፋቱን ያረሱት አሜሪካኖች መጥተው ነው? ሰው የገዛ እጁን ሳያይ በሩቅ ሰው ላይ ጣት ሲቀስር ደስ አይለኝም።

ሾፌር፣ ሸዋሮቢት
ጋሼ፣ አፈሩስ ይሁን። የሌሊቱ ሙቀትስ? የእርስዎ ተዳፋት ስለታረሰ ነው ሸዋሮቢት ላይ እንቅልፍ የጠፋው?

የፊዚክስ መምህር፣ ደብረ ብርሃን
ሾፌሩ በአንድ መስመር ዋናውን ነገር ነካው። ምንጭ የሚደርቅበትና ምድር የምትሞቅበት ምክንያት አንድ አይደለም፤ እኛ ግን እየቀላቀልን ነው።

የደጋ ሰው ሙቀት እንዴት እንደሚያዝ ለማወቅ መጽሐፍ አያሻውም። በጥቅምትና በኅዳር ሰማዩ ጥርት ብሎ ባደረበት ሌሊት ውርጭ ይወርድና ባቄላው በጠዋት ጠቁሮ ይገኛል። ደመና የሸፈነው ሌሊት ግን ማሳው ይተርፋል። መሬት ቀን ከፀሐይ የተቀበለችውን ሙቀት ሌሊት በማይታይ ጨረር ወደ ላይ ትመልሳለች፤ ሰማዩ ደረቅና ጥርት ያለ ከሆነ ሙቀቱ አምልጦ ይሄዳል፤ ደመናና እርጥበት ካለ ግን ይያዝና ከፊሉ ተመልሶ ወደ ታች ይመጣል። የካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ የሚቴንና የናይትረስ ኦክሳይድ ጋዞች ሥራም ይኸው ነው። ደመና ሲነጋ ይበተናል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን አንዴ ከወጣ ከፊሉ ለብዙ መቶ ዓመታት አየር ውስጥ ይቆያል።

ጋዞቹ በራሳቸው ጠላት አይደሉም። እነሱ ባይኖሩ ኖሮ 15 ዲግሪ ገደማ የሆነው የምድር አማካይ ሙቀት ከዜሮ በታች ወደ 18 ዲግሪ ይወርድ ነበር። ጉዳቱ የመጣው በመብዛታቸው ነው። ከፋብሪካ ዘመን በፊት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአንድ ሚሊዮን የአየር ቅንጣት 280 ያህሉ ነበር። በ1958 እ.ኤ.አ. በሃዋይ ማውና ሎዋ ተራራ ላይ ያለማቋረጥ መለካት ሲጀመር 315 ደርሶ ነበር፤ ዛሬ ከ420 አልፏል። ነገሩ ደግሞ ትናንት የተፈለሰፈ ወሬ አይደለም። ጆን ቲንዳል በ1859 እ.ኤ.አ. ጋዞቹ ሙቀት እንደሚይዙ በቤተ ሙከራ ለካ። ስዊድናዊው ስቫንቴ አሬኒየስም በ1896፣ እኛ ዓድዋ ላይ በነበርንበት ዓመት፣ የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጨመር ምድርን ምን ያህል እንደሚያሞቃት አስልቶ አሳተመ።

ነጋዴ፣ ደብረ ሲና
መምህር፣ አከብርዎታለሁ። ግን ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በክፉ ቀን አገር ሲያልቅ የማን መኪና ጭስ ነበር? ድርቅ በዚህ አገር አዲስ እንግዳ ነው እንዴ? ፀሐይም ትበረታለች፣ ትደክማለች። ኤርታሌም አፋር ላይ ስንት ዘመን ሲጨስ ኖሯል። ሁሉን ነገር የሰው ሥራ ነው ማለት ትዕቢት ይመስለኛል።

የፊዚክስ መምህር፣ ደብረ ብርሃን
ክፉ ቀንን ማንሣትዎ መልካም ነው። ያኔ ከብቱን የፈጀው የደስታ በሽታ ነበር፤ በሬ ሲያልቅ እርሻው ቆመ፤ ድርቁና አንበጣው በላዩ ላይ ተጨመሩ። ድርቅ ድሮ አልነበረም ያለ የለም። ፀሐይን ግን ከ1978 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሳተላይት ይለካታል፤ ጉልበቷ ሲጨምር አልታየም። ሙቀቱ ከእሷ ቢሆን ኖሮ የላይኛውም አየር አብሮ ይሞቅ ነበር። የሚለካው ግን የታችኛው ሲሞቅ የላይኛው እየቀዘቀዘ መሆኑን ነው፤ ጋዞቹ ሲበዙ የሚጠበቀውም ይኸው ነው። የኤርታሌን ነገር በተመለከተ፣ በዓለም ያሉ እሳተ ገሞራዎች ሁሉ ተደምረው በዓመት የሚለቁት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሰው ከሚለቀው አንድ በመቶ አይሞላም።

ነጋዴ፣ ደብረ ሲና
ፀሐይዋን ልተውልዎት። በልጉን ግን አልተውም። ምድር ሞቀች ማለት በልጉ በዚያ ምክንያት ቀረ ማለት አይደለም።

የግብርና ባለሙያ፣ መሐል ሜዳ
ነጋዴው ያሉት በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። በምሥራቅ አፍሪካ የመጋቢትና የግንቦት መካከል ዝናብ ባለፉት አሥርት ዓመታት እየቀነሰ መምጣቱ ተመዝግቧል። ብዙ ተመራማሪዎች ይህን ከህንድ ውቅያኖስና ከምዕራብ ፓሲፊክ መሞቅ ጋር ያያይዙታል። የሚያስቸግረው ግን የወደፊቱን የሚያሰሉት የኮምፒውተር ሞዴሎች አብዛኞቹ ያው ዝናብ ይጨምራል ማለታቸው ነው። ሞዴሉና ማሳው አልተስማሙም፤ ባለሙያዎቹም ይህን አይደብቁም። ስለዚህ እኔ የምለው፣ ሙቀቱ የሰው ሥራ መሆኑ ያለቀለት ጉዳይ ነው፤ «የዘንድሮ በልግ የቀረው በዚህ ፋብሪካ ነው» የሚል ሰው ግን ከማስረጃው ቀድሞ ሮጧል። በ2007 ዓ.ም. በልጉ ቀረ፣ ክረምቱንም ኤል ኒኞ በላው፣ በተከታዩ ዓመት 10.2 ሚሊዮን ሕዝብ የምግብ ርዳታ ጠባቂ ሆነ። ኤል ኒኞ፣ ማለትም የፓሲፊክ ውቅያኖስ በየጥቂት ዓመቱ የሚሞቀው ነገር፣ ራሱ የተፈጥሮ ዑደት ነው። ቢሆንም አየሩ ቀድሞ በሞቀ ቁጥር ያው የዝናብ እጥረት መሬቱን ፈጥኖ ያደርቀዋል።

አሁን ብዙዎቻችሁን ወደማያስደስተው ልምጣ። አገራችን የምትለቀው ጋዝ በአብዛኛው የሚመጣው ከመኪና ሳይሆን ከከብት፣ ከእርሻና ከደን ምንጣሮ ነው። ላም ስታመነዥክ በሆዷ ያሉ ረቂቅ ሕዋሳት ሚቴን ይሠራሉ፤ እሱም በግሳት ይወጣል። ሚቴን በመቶ ዓመት ሲሰላ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ገደማ ያሞቃል፤ ደግነቱ 12 ዓመት ያህል ቆይቶ ይከስማል። ከዩሪያ ማዳበሪያ የሚወጣው ናይትረስ ኦክሳይድ ደግሞ 270 እጥፍ ገደማ ነው፤ ከመቶ ዓመት በላይም ይቆያል።

ገበሬ፣ ሞላሌ
አንተ ልጅ፣ ጥፋቱ የራሳችን ነው ብል ሞፈርና ቀንበሬን ወስደህ ሸንጎ ታቆምልኛለህ? የበሬዬን ግሳት ከአውሮፕላን ጋር ልትመዝነው ነው?

የግብርና ባለሙያ፣ መሐል ሜዳ
ጋሼ፣ በሬዎን ማንም አልነካም። ብዙ የከሱ ከብቶች ከማሰማራት ጥቂት ደህና የተቀለቡ ቢኖሩን ወተቱም ይበዛል፣ ጋዙም ይቀንሳል ነው የምለው። ኩበቱም ምድጃ ውስጥ ከሚያልቅ ባዮጋዝ ቢሠራ ዝቃጩ ለማሳ ይተርፋል።

ገበሬ፣ ሞላሌ
ባዮጋዙን አይተነዋል። ጎረቤቴ ጉድጓዱን አስቆፍሮ፣ በሲሚንቶ አስገንብቶ፣ እበቱን በየጠዋቱ በውኃ እየበጠበጠ ይጨምር ነበር። በክረምት መብራት እንኳ የሚያበራ ጋዝ አልወጣለትም፤ ብርድ ሲሆን እበቱ አይብላላም። ለሸዋሮቢት የሚሆን ነገር ለመንዝ ሲያመጡ ቁመናውን አይለኩትም። ሚስቱ ዛሬም ኩበት ትጠፈጥፋለች።

የደብር አገልጋይ፣ አንኮበር
የወፍ ዋሻ ደን ጥድ ዘር በአፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ተወስዶ መናገሻ ላይ እንደተዘራ ሲነገር ሰምተን ያደግን ነን። ስለዚህ ዛፍ መትከል ለእኛ የሰሞኑ ዘመቻ አይደለም። ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል። በየዓመቱ ተከልን ይባላል፤ የሚበዛው ባሕር ዛፍ ነው፤ ጥቂት ዓመት ቆይቶ ለአጣና ይቆረጣል፣ ቅርንጫፉም ማገዶ ይሆናል። ይህ ከአየሩ ላይ ምን ያነሣል?

የፊዚክስ መምህር፣ ደብረ ብርሃን
አባታችን፣ ዛፍ ቆሞ እስካለ ድረስ የሳበውን ካርቦን ይዞ ይቆያል፤ ሲነድ ይመልሰዋል። ቤት የተሠራበት አጣና ትንሽ ያቆየዋል። ባሕር ዛፉ በሌላ መንገድ ይጠቅማል፤ እሱ ባይኖር ማገዶው ከወፍ ዋሻ ይመጣ ነበር። ግን ዓለም ከከርሰ ምድር የሚያወጣውን ከሰልና ነዳጅ በችግኝ እናወራርዳለን ማለት አይሆንም። ያ ካርቦን በሚሊዮኖች ዓመታት የተቀበረ ነው።

የፋብሪካ ሠራተኛ፣ እንሳሮ
ሰሜን ሸዋ ፋብሪካ የሌለበት ይመስል የምትነጋገሩት ያስገርማል። ለሚ ላይ በመስከረም 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ፋብሪካ በቀን 150 ሺህ ኩንታል ሲሚንቶ የማምረት አቅም አለው። ሲሚንቶ ደግሞ የሚለቀው ጋዝ ከማገዶው ብቻ አይደለም። የኖራ ድንጋይ ሲቃጠል ከራሱ ከድንጋዩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል፤ ከአንድ ቶን ንጹሕ የኖራ ድንጋይ 440 ኪሎ ያህል። እሳቱ በፀሐይ ኃይል ቢሆን እንኳ ይህ አይቀርም። እንጀራዬ ስለሆነ አልነቅፈውም፤ ትምህርት ቤት የሚሠራው በሲሚንቶ ነው። ግን ጭስ የሌሎች ብቻ ነው አትበሉ።

የሕግ ተማሪ፣ ሰላድንጋይ
ወንድሜ፣ ልክ ነህ፤ ሚዛኑን ግን አትርሳው። ከነዳጅ፣ ከከሰልና ከሲሚንቶ ከሚወጣው የዓለም ካርቦን ዳይኦክሳይድ የኢትዮጵያ ድርሻ ከሺህ አንድ እጅ አይሞላም። በነፍስ ወከፍ አንድ አሜሪካዊ በዓመት 14 ቶን ገደማ ይለቃል፤ እኛ 0.2 ቶን አንሞላም። በዛሬው ዓመታዊ ልክ ቻይና ቀዳሚ ናት፤ ከፋብሪካ ዘመን ጀምሮ የተከማቸው ሲደመር ግን ሩቡ ያህል የአሜሪካ ብቻ ነው። ጋዙ ለብዙ መቶ ዓመታት የሚቆይ ከሆነ ዕዳው የሚቆጠረው ከተከማቸው ላይ ነው። በ2022 እ.ኤ.አ. በግብፅ ሻርም ኤል ሼክ በተደረገው የአየር ንብረት ጉባኤ ለጉዳትና ለኪሳራ የሚሆን ፈንድ እንዲቋቋም የተስማሙት ይህ ክርክር አሸንፎ ነው። ለሚን የሠራነው ዛሬ ነው፤ የእነርሱ ፋብሪካ ሲጨስ ሁለት መቶ ዓመት አለፈው። «ሁላችንም ጥፋተኞች ነን» የሚለው ንግግር ትሕትና ይመስላል፤ የሚጠቅመው ግን ባለዕዳውን ነው።

ነጋዴ፣ ደብረ ሲና
ፈንዱ ተቋቋመ፤ ሞላሌ ስንት ብር ደረሰ?

የሕግ ተማሪ፣ ሰላድንጋይ
የበለጸጉት አገሮች ካሣ ነው ብለው አልፈረሙም። በፓሪሱ የአየር ንብረት ስምምነት ጊዜ «ተጠያቂነትና ካሣ» የሚሉት ነገሮች መሠረት እንዳያገኙ አስወስነዋል። ስለዚህ የሚሰጡት በፈቃዳቸው ነው፤ ቃል የተገባውም ከጉዳቱ ጋር አይገናኝም። ይህ ነው የሚያንገበግበኝ።

ገበሬ፣ ሞላሌ
እንዲያ ከሆነ የእኔን ጥፋት አልሰርዝም፣ የእነርሱንም አልሰርዝም። እርከኑን በገዛ ጉልበቴ እሠራለሁ፤ እሱ ምንጬን ይመልስልኛል። የሌሊቱን ሙቀት ግን እርከን አይመልሰውም። ተማሪው ይክሰስልኝ።

ሾፌር፣ ሸዋሮቢት
ስለ እኔም ማንም ሳይናገር ልናገር። አንድ ሊትር ናፍጣ ሲነድ 2.7 ኪሎ ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል፤ ከሸዋሮቢት ጭኜ ጣርማበርን ስወጣ ስንት ሊትር እንደምጨርስ እኔና ታንከሬ እናውቃለን። የቤት መኪና በነዳጅ እንዳይገባ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ተከልክሏል፤ መብራታችን ከውኃ ስለሆነ ሐሳቡን አልጠላሁትም። ነገር ግን ሃምሳ ኩንታል ጭኖ ያንን ዳገት በባትሪ የወጣ የጭነት መኪና ያየ ካለ፣ ዋጋውንና ባትሪው የት እንደሚሞላ ጨምሮ ይንገረኝ።