የዊንዶውስ አካውንቴ ስም በአማርኛ ነው፤ አንድሮይድ ስቱዲዮ ሲንክ ላይ ይወድቃል

ሚሚ_ኮድ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ላፕቶፔ ኮር አይ 5፣ 8ኛ ትውልድ፣ ራሙ 8 ጊጋባይት፣ ኤስኤስዲው 256 ነው፤ ዊንዶውስ 11። የስልክ አፕ መሥሪያውን አንድሮይድ ስቱዲዮን ጭኜ አዲስ ፕሮጀክት ስከፍት የፕሮጀክቱ ፓዝ (የፎልደሩ አድራሻ) ከአስኪ (ከተራ የእንግሊዝኛ ፊደላትና ቁጥሮች) ውጭ የሆኑ ፊደላት አሉት ብሎ ሲንኩ (ፕሮጀክቱን የማዘጋጀት ሥራው) ላይ ይቆማል። አካውንቱን የከፈትኩት በአማርኛ ስሜ ነው። አንዳንዴ ደግሞ ግሬድልን (ኮዱን ወደ አፕ የሚቀይረውን መሣሪያ) ሲያወርድ ኔት ይቆራረጥና ዚፕ ፋይሉ አልከፈት ይለዋል። ኢሙሌተሩም (ኮምፒውተሩ ላይ ስልክ መስሎ የሚሠራው) ሲነሳ ማሽኑ ቀጥ ይላል። ከየቱ ልጀምር? ዳታ በፓኬጅ ስለምገዛ ሁሉንም ደጋግሜ ማውረድ አልችልም።

ተርሚናል፦
ሰላም እህቴ። ከፊደሉ ጀምሪ፤ እሱ ሳይስተካከል ሌላው ላይ መድከም ዳታ ማባከን ነው። ዊንዶውስ የአካውንቱን ፎልደር የሚሰይመው መጀመሪያ በተከፈተበት ስም ነው። በኋላ ከኮንትሮል ፓነል ብትቀይሪው የሚቀየረው መግቢያው ላይ የሚታየው ስም ብቻ ነው፤ ዩዘርስ ውስጥ ያለው ፎልደር እንደነበረ ይቀራል። ስቱዲዮው ደግሞ ፕሮጀክቶችሽን፣ ኤስዲኬውን (አፕ ለመሥራት የሚያስፈልጉትን የአንድሮይድ ፋይሎች)፣ ግሬድል ያወረደውን ሁሉ እዚያው ያከማቻል።

ንጹሑ መፍትሔ በእንግሊዝኛ ፊደል፣ ስፔስ የሌለው ስም ሰጥቶ አዲስ ሎካል አካውንት መክፈት ነው። ይህን ካልፈለግሽ ሲ ድራይቭ ላይ በእንግሊዝኛ «ዴቭ» የሚል ፎልደር ፍጠሪና ፕሮጀክቶቹን እዚያ አድርጊ። የኤስዲኬውን ፎልደር መጀመሪያ ወደዚያ ኮፒ አድርገሽ ከዚያ በኋላ ብቻ በኤስዲኬ ማናጀር አዲሱን ቦታ አሳዪው፤ ባዶ ፎልደር ካሳየሽው እንደገና ያወርዳል። ቀጥሎ ኢንቫይሮመንት ቫርያብልስ (ፕሮግራሞች የሚያነቧቸው የዊንዶውስ ቅንብሮች) ውስጥ «ግሬድል ዩዘር ሆም» የሚል ጨምሪ፦ በእንግሊዝኛ፣ ሁሉም በትልልቅ ፊደል፣ ቃላቱ በአንደርስኮር የተያያዙ። ዋጋው ዴቭ ውስጥ ያለ ፎልደር ይሁን። ስቱዲዮውን ዘግተሽ ክፈቺው፤ ክፍት የቆየ ፕሮግራም አዲሱን ቫርያብል አያየውም።

ማስጠንቀቂያውን በአንድ መስመር ማጥፋት ይቻላል የሚል ምክርም ታገኛለሽ። አትከተዪው። ፍተሻው ይዘለላል እንጂ ፓዙ አይስተካከልም፤ ችግሩ ቆይቶ ምንጩ በማይታወቅ ስህተት ተመልሶ ይመጣል።

ባይት_በባይት፦
የዚፑ ነገር የተቋረጠ ዳውንሎድ ነው። ግሬድል ያወረደውን በሚያስቀምጥበት ፎልደር ውስጥ «ራፐር»፣ ከዚያ «ዲስትስ» ግቢና የዚያን ቨርዥን ፎልደር ብቻ ሰርዢ። ሙሉውን የግሬድል ፎልደር እንዳትነኪ፤ እስካሁን የወረዱት ላይብረሪዎች (አፑ የሚጠቀምባቸው ዝግጁ ኮዶች) አብረው ይጠፋሉ። ከዚያ በፕሮጀክቱ የራፐር ፕሮፐርቲስ ፋይል ውስጥ «ኔትወርክ ታይምአውት» 10000 ሚሊሰከንድ ተብሎ ታገኚዋለሽ፤ 10 ሰከንድ ማለት ነው። ለሚቆራረጥ ኔት አይበቃም፤ 60000 አድርጊው። እዚያው ፋይል ላይ የዳውንሎድ አድራሻው «ኦል» በሚል ካለቀ ወደ «ቢን» ቀይሪው፤ «ኦል» ሶርስ ኮዱንና ዶክመንቴሽኑን ጭምር ስለሚያወርድ ይከብዳል።

አንዴ ሲንኩ ካለፈ በኋላ በግሬድል መስኮት ላይ ያለውን ኦፍላይን ሞድ አብሪ። አዲስ ላይብረሪ እስካልጨመርሽ ድረስ ያለ ኔት ቢልድ ያደርጋል (አፑን ይሠራል)።

ተርሚናል፦
ኢሙሌተሩን በተመለከተ፣ በ8 ጊጋ ራም ባትታገዪው እመክራለሁ። ስቱዲዮው፣ ግሬድልና ኮትሊን (የኮድ ቋንቋው ተርጓሚ) እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ሜሞሪ ይዘው ነው የሚሠሩት፤ ኢሙሌተሩ ሲታከል ራሙ ሞልቶ ዊንዶውስ የተረፈውን ወደ ዲስክ መገልበጥ ይጀምራል። እውነተኛ ስልክ ተጠቀሚ፦ ሴቲንግ ውስጥ «አባውት ፎን» ገብተሽ ቢልድ ነምበርን 7 ጊዜ ንኪ፤ ዴቨሎፐር ኦፕሽንስ ይከፈታል፤ ዩኤስቢ ደበጊንግን (ስቱዲዮው በኬብል አፕ እንዲጭንበት የሚፈቅደውን) አብሪ። ሲስተም ኢሜጅ (ኢሙሌተሩ የሚፈልገውን የአንድሮይድ ፋይል) ከማውረድም ትድኛለሽ።

ኢሙሌተር ግድ ከሆነ ታስክ ማናጀር፣ ፐርፎርማንስ፣ ሲፒዩ ላይ ቨርቹዋላይዜሽን (ማሽኑ ውስጥ ሌላ ማሽን ማስኬጃው) «ኢነብልድ» መሆኑን እዪ። ካልሆነ ባዮስ (ማሽኑ ሲነሳ የሚገባበት ቅንብር) ገብተሽ የኢንቴልን ቨርቹዋላይዜሽን አብሪ። ሃክስም (የኢንቴልን የኢሙሌተር ማፍጠኛ) ጫኚ የሚሉ የቆዩ ቪድዮዎችን እለፊያቸው፤ ኢንቴል ትቶታል። ዊንዶውስ ፊቸርስ ውስጥ ያለው ሃይፐርቫይዘር ፕላትፎርም ይተካዋል።

ሚሚ_ኮድ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ፓዙን ቀይሬ ሲንኩ አለፈ። ስልኩን ስሰካው ግን ቻርጅ ያደርጋል እንጂ ስቱዲዮው ላይ አይመጣም።

ባይት_በባይት፦
መጀመሪያ ኬብሉን ቀይሪ፤ ብዙዎቹ ርካሽ ኬብሎች ኃይል እንጂ ዳታ አያስተላልፉም። ፋይል ኤክስፕሎረር ላይ ስልኩ ከታየ ኬብሉ ደህና ነው፤ ያኔ የአምራቹን ዩኤስቢ ድራይቨር ጫኚ። «አንኦቶራይዝድ» ካለሽ የስልኩን ስክሪን ከፍተሽ የሚመጣውን ጥያቄ ፍቀጂ። ስልኩ አንድሮይድ 11 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ በዋይፋይም ይገናኛል፤ ሁለቱ አንድ ኔትወርክ ላይ ይሁኑ እንጂ የኢንተርኔት ዳታ አይበላም።