ቲሸርቱ ከፕሮፖዛሉ ይውጣ ወይስ ይቆይ?

ጸሐፊዋ፦
ሰላም ጀመዓ እንዴት አመሻችሁ። የቅሬያችንን (የእድራችንን) የውሃ ቁጠባ ፕሮፖዛል ሁለተኛ ረቂቅ ልኬያለሁ፣ ከሌሎቹ ሁለት ቅሬዎች ጋር አብረን የምናስገባው ስለሆነ እስከ እሁድ ያላችሁን ወርውሩበት። ርዕሱ «በቤታችን የተደበቀ ውሃ» ነው። ላልሰማችሁ ባጭሩ፣ ውሃ የምንጨርሰው ከቧንቧ ቀድተን ብቻ አይደለም፣ የምንበላውም የምንለብሰውም እስኪበቅልና እስኪሰራ የጠጣው አለ ነው ነገሩ። በዓለም አማካይ አንድ ኪሎ ስንዴ 1,800 ሊትር ገደማ፣ የበግ ሥጋ በኪሎ 10,400፣ የበሬ 15,400፣ አንድ የጥጥ ቲሸርት 2,500 ሊትር። በጀቱ ገጽ 4 ላይ ነው፣ ጋሼ እሱን እርስዎ ይዩልኝ።

ገንዘብ ያዥ፦
አየሁት ልጄ። ለመክፈቻው ቀን 150 ቲሸርት ይላል፣ ደረቱ ላይ «እያንዳንዷ ጠብታ ሕይወት ናት» የሚል። ራስሽ ነሽ እኮ አንዱን 2,500 ሊትር ያልሽው፣ ካልኩሌተር ላይ መታሁት 375,000 ሊትር መጣ። በባለ 20ው ጀሪካን 18,750 ጀሪካን ማለት ነው። እኛ ቤት ፈረቃው ደርሶ ውሃ ሲመጣ እኔና ሴትዮዬ ሌሊት ተነስተን የምንሞላው 8 ጀሪካን ነው፣ ዘጠነኛው ላይ ይሄዳል። እና ውሃ ቆጥቡ ልንል ይሄን ሁሉ ውሃ ለብሰን ነው የምንወጣው?

ጸሐፊዋ፦
ወይ ጉዴ! ወላሂ አላየሁትም፣ በጀቱን ካምናው ፕሮፖዛል ኮፒ አድርጌው ነው።

የሸዋ በሯ፦
እኔን ደሞ ያናደደኝ ቡናው ነው። ገጽ 2 ላይ አንድ ሲኒ ቡና 130 ሊትር ስለሆነ አባላት ቡና ይቀንሱ ትያለሽ፣ የኔ ሸጋ ደሴ ቁጭ ብለሽ ነው ይሄን የጻፍሽው? አቦሉን ጠጥተን ቶናው ላይ ውሃ ቆጠብን ብለን ልንነሳ ነው፣ በረካው ሳይጠጣ ማን ሊመርቅ። ይሄን ለእናቶች አላነብም፣ አንቺው አንብቢላቸው።

ኢንጂነሩ፦
እትዬ ልክ ነሽ፣ ቡናው ይውጣ። ግን የሚወጣበትን ምክንያት ፕሮፖዛሉ ላይ እንጻፈው ምክንያቱም ዋናው ነገር እሱ ነው። ይሄን ስሌት በ2002 በፈረንጅ የጀመረው አርየን ሁክስትራ የሚባል የሆላንድ ሰው ነው፣ ብዙዎቹን ቁጥሮች አብሮት ያወጣው መስፍን መኮንን ነው (የኛ ሰው መሆኑን ስሙ ያሳብቃል)። እነሱ ታዲያ ውሃውን አንድ ላይ ደፍተው አይተውትም፣ በሦስት ቀለም ይከፍሉታል። አረንጓዴው አፈር ውስጥ የገባ የዝናብ ውሃ ነው፣ ሰማያዊው ከወንዝ ከሐይቅና ከጉድጓድ የሚቀዳው፣ ግራጫው ደግሞ ፋብሪካና እርሻ የለቀቀው ቆሻሻ ተበርዞ ወንዙ ደህና እስኪሆን የሚያስፈልገው። የቡና 130 ሊትር አብዛኛው አረንጓዴ ነው፣ ጅማና ከፋ ላይ የዘነበ። አንቺ ሲኒሽን ብትደፊው ደሴ ቧንቧ ላይ አንድ ጠብታ አይጨመርም። ደላንታ ሜዳ ላይ ሣር የጋጠ በግም እንደዛው፣ ከብዙ ዝናብ ነው የተሠራው። ስለዚህ ቁጥሩ ትልቅ ስለሆነ ብቻ ጥፋት ነው አይባልም፣ ውሃው ከየት ተወሰደ ከማን ላይ ተወሰደ ነው ጥያቄው።

ጥጥ ግን ሌላ ነው። አፋር ውስጥ ተንዳሆና ዱብቲ ላይ ያለ ወንዝ ጥጥ አይታሰብም፣ ወንዙ አዋሽ ነው፣ አዋሽ ላይ ከሚገቡት አንዱ ደሞ ቦርከና፣ የኛው ቦርከና! ከኛ ተራሮች ወርዶ በኮምቦልቻ፣ በጨፋ አድርጎ እዛ ይሄዳል። ሲነከርና ሲታጠብ ደሞ ግራጫው ይጨመርበታል።

የከሚሴው፦
ጨፋን ካነሳህ አይቀር እኔ ልናገር። ልጅ ሆኜ በበጋ ከብት የምናግደው እዛ ነበር፣ ቆላው ሲደርቅ አፋሮቹም ከብታቸውን ይዘው ይመጣሉ፣ ሣሩ ለሁሉም ይበቃ ነበር። አንድ በጋ ላይ ቡሬ በሬያችን ውሃው ዳር ደረሰ፣ አፍንጫውን አስጠግቶ ፉፍ አለና አንገቱን መለሰ። በዱላ ብለው በምን ብለው እምቢ። ውሃው ላይ እንደ ሳሙና አረፋ ያለ ነገር ነበር፣ ቀለሙም ሻይ ይመስል ነበር። አባቴ አንድ ሰዓት ሙሉ እየነዳ ወደ ምንጩ ወሰደው። ማን ለቀቀው አላውቅም፣ ያኔም የጠየቀ የለም። ግራጫ የምትለው ይሄንን ከሆነ እሱ አንደኛ ይሁን፣ ቡናና በግ ኋላ ይደርሳል።

ሰብሳቢው፦
ሁሉም ደህና፣ ግን እውነቱን እንነጋገር። ቲሸርት ካልለበስን ማን ያየናል? ገንዘቡን የሚሰጡት ሰዎች ፎቶ ይፈልጋሉ፣ ባነር ብቻውን አይበቃም። ባለፈው ያስገባነው ሪፖርት ፎቶ የለውም ተብሎ ሦስት ወር ተንጠልጥሏል እኮ።

የሸዋ በሯ፦
አብሽር ሰብሳቢ፣ ፎቶ ታገኛለህ። ትናንት ማታ ሞክሬዋለሁ፣ የተነደለች አንዲት አሮጌ ነጠላ ነበረችኝ፣ ጥለቷን ሳልነካ መሃሏን በመቀስ ስከፋፍላት 60 ቁራጭ ወጣኝ። ክንድ ላይ ትታሰራለች። ሦስት ነጠላ ካገኘን 150ውም ይሸፈናል ይተርፈናልም፣ ከስር ሰው ያለውን ልብስ ይልበስ። በማርከር አንድ ቃል ይጻፍባት፣ እሱን ልጆቹ ያስቡበት።

ጸሐፊዋ፦
ወድጄዋለሁ። እንግዲያው ገጽ 2ን እንደ አዲስ ልጽፈው ነው። ምግቡ ላይ «አትብሉ» የሚል ነገር አይኖርም፣ ለቅሶ ቤት የሚተርፈው ዳቦና እንጀራ ብቻ ነው የሚነሳው፣ ዳቦው ለጎረቤት ይከፋፈላል፣ እንጀራው ድርቆሽ ይሆናል፣ ሲደፋ ግን እህሉ የጠጣው ውሃም አብሮ ነው የሚደፋው። ልብሱ ላይ ይሰፋል፣ ዚፕ ይቀየራል፣ ሰልባጅ ማንንም አያሳፍርም፣ ለሠርግም ለዓመት መታሰቢያም አንዴ ተለብሶ የሚጣል ቲሸርት ቅሬያችን አያሳትምም። ሦስተኛው የቦርከና ጉዳይ ነው፣ የሚመለከተው ክፍል ውሃውን መርምሮ ውጤቱን ለሕዝብ ይለጥፍ ብለን በሦስታችን ማኅተም እንጠይቃለን። የቲሸርቱ ብርስ?

ኢንጂነሩ፦
አሸንዳና ሮቶ ግዙበት። የቅሬው አዳራሽ ቆርቆሮ 12 በ8 ሜትር ነው፣ ለክቼዋለሁ። የክረምት አንድ ደህና ዝናብ 20 ሚሊ ሜትር ቢጥል 1,920 ሊትር ነው፣ የሚፈሰውና የሚረጨው ይቀነስና 75 ጀሪካን አይጠፋውም። የመጀመሪያው ዝናብ አቧራ ስለሚያመጣ ይለቀቃል፣ ከዛ በኋላ ያለው ለቅሶ ቤት ላለ ድስትና ሳህን በደንብ ይሆናል። ለመጠጥ አላልኩም!

ገንዘብ ያዥ፦
ይሄ ያስኬዳል፣ ገጽ 4 ላይ ቲሸርት የሚለው ተሰርዞ ሮቶና አሸንዳ ይግባ። አንድ ነገር ግን ሳልናገር ብቀር ጥሩ አይደለም፣ ከቲሸርቶቹ ለ30ው ለአታሚው ቀብድ ከፍለናል።

ጸሐፊዋ፦
ታትሟል?

ገንዘብ ያዥ፦
ታትሟል። ሰውየው ቀብድ አልመልስም አለ፣ መብቱ ነው።

የከሚሴው፦
እነዛ የኳሱ ልጆች ማልያ ሲለምኑን አልነበር? ለነሱ ይሰጥ።

የሸዋ በሯ፦
ደረቱ ላይ ጠብታ የሚል ለብሰው የገራዶን ልጆች ሊገጥሙ? አይ እንግዲህ ያሸንፉ እንጂ።