አስቸኳይ፦ የሥዕሎቹ መግለጫ ጠፋብኝ፣ የትኛው የየትኛው ወር ነው?

ቀለሟ፦ ወገኖቼ ድረሱልኝ! ነገ ጠዋት 2:30 ክፍል ውስጥ አቀርባለሁ። ላፕቶፑ ድርግም ብሎ ሲነሳ ከሥዕሎቹ ሥር የጻፍኩት በሙሉ የለም። አራቱም የመስፍኑ መጽሐፍ ላይ ያሉ ናቸው፤ ወራቸው ተደበላለቀብኝ። ያ ረጅሙ ማጭድስ ምን ይባላል?

ዶማ፦ የትኛው መስፍን? መስፍን የሚባል ጎረቤት አለኝ።

ሽቦ፦ ላፕቶፑን አጥፍተሽ አብሪው።

ቀለሟ፦ የፈረንሳዩ፣ የቤሪው መስፍን ዣን! የሊምበርግ ወንድማማቾች የሳሉለት፣ ለየወሩ ሥዕል ያለው የጸሎት መጽሐፍ። ርዕሴ «የእርሻ መሣሪያ በጥንታዊ የአውሮፓ ሥዕል» ነው።

መምህሩ፦ እህቴ፣ ርዕሱ ራሱ አያስኬድም። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. ከ1412 እስከ 1416 አካባቢ የተሠራ ነው፤ ጥንታዊ ከተባለ ጣሊያን ቫል ካሞኒካና ፈረንሳይ ሞን ቤጎ ድንጋይ ላይ የተፈለፈሉት አሉ። የነሐስ ዘመን ናቸው፤ ጥንድ በሬ፣ ቀንበር፣ ከኋላ አራሹ።

የገበሬ ልጅ፦ እዚያ ድንጋይ ላይ ያለው ከኛው ጋር አንድ ዓይነት ነው፤ አፈሩን ይሰነጥቃል እንጂ አይገለብጥም። የማርቹ ሥዕል ላይ የሚታረስበት ግን መንኮራኩር ያለው፣ አፈር ገልባጭ ነው። ደሞ ሁሉንም «ሞፈር» ብለሽ እንዳትጽፊ፣ ሞፈር ግንዱ ብቻ ነው።

ዶማ፦ ነጭ ጢም ያላቸው አባት በሬ ጠምደው ሲያርሱ የሚታዩበት እሱ ነው አይደል? ያሳዝናሉ፣ ልጅ የላቸውም እንዴ?

ሽቦ፦ ከላይ እንዳልኩት፣ አጥፍተሽ አብሪው።

አውደ ነገሥት፦ ከሥዕሉ በላይ ያለውን ግማሽ ክብ እዪ፣ ሁለት ሁለት የኮከብ ቆጠራ ምልክት አለበት። ሑትና ሐመል ከሆነ ማርች። ገውዝና ሸርጣን ጁን፤ ሦስት ወንዶች በዚያ ረጅም ማጭድ ሣር ያጭዳሉ፣ ሁለት ሴቶች ይሰበስባሉ። ሚዛንና አቅራብ ኦክቶበር፤ ፈረስ ጥርስ ያለው የእንጨት ፍርግርግ ይጎትታል፣ እንዲከብድ ድንጋይ ተጭኖበታል። ከኋላ ቀስተኛ መስሎ የቆመው የወፍ ማስፈራሪያ ነው። ወፎቹ ግን ዘሪው ሥር ዘሩን እየለቀሙ ነው።

ዶማ፦ በጥቅምት የሚዘራ ምን ዓይነት ገበሬ ነው?

የገበሬ ልጅ፦ እዚያ አውሮፓ ስንዴው ብርዱን ወራት መሬት ውስጥ ነው የሚያሳልፈው። ማጭዱን «ቆመው የሚያጭዱበት ባለ ረጅም እጀታ ማጭድ» በዪው፣ አንድ ቃል አትፈልጊ።

ቀለሟ፦ ሦስቱ ገቡልኝ፣ ተባረኩ! አራተኛው ላይ ግን ግማሽ ክቡ ተቆርጧል። በግ የሚሸልቱ አሉ።

አውደ ነገሥት፦ ጁላይ። ስንዴውን የሚያጭዱት በአጭሩ ማጭድ ከሆነ እሱ ነው።

ሽቦ፦ አጥፍተሽ አበራሽው?