ቲቲን «ጥጋብ» ያላችሁ፣ ኑ እንነጋገር

ሰንሰለት (ማንችስተር)፦
ትናንት እዚህ ግሩፕ ላይ የማን ደሴት ቲቲን (ተራ የመኪና መንገድ ተዘግቶ የሚካሄደውን የሞተር ውድድር) ቪዲዮ ለጥፌ ነበር። ሞተሩ የብሬይ ሂልን ቁልቁለት ሲወርድ፣ ግራና ቀኙ የሰው ቤት፣ የሰው አጥር፣ የመብራት እንጨት። ሥሩ አንድ ሰው «ይሄ የፈረንጅ ጥጋብ ነው፤ የሚያሳዝነው መንግሥት ራሱ መንገድ ዘግቶ ማስጨረሱ» ብሎ ጻፈ። ስንቱ ላይክ አደረገው! ሌሊቱን ሲከነክነኝ አደረ። ሞቱን አልክድም። ከ1911 ጀምሮ በዚያ የተራራ መንገድ ላይ ከ260 በላይ ተወዳዳሪ ሞቷል (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጠራው)። ግን ጥጋብ? 23 ጊዜ ያሸነፈው ጆን ማክጊነስ ግንበኛ ነበር፣ ጡብ ደርዳሪ። ሌላው ተወዳዳሪ ጋይ ማርቲን የከባድ መኪና መካኒክ ነው። ጆይ ደንሎፕ 26 ጊዜ አሸንፎ ባሊመኒ የሚባል ከተማ መጠጥ ቤቱን ይሠራ ነበር። ጥጋበኛው የቱ ነው? ስም ጥሩልኝ።

ሲስተር ከሊቨርፑል፦
የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ አልደበቅም። ጥጋብ ያልኩት ስለ ገንዘብ አይደለም። እናቴ ጥጋብ የምትለው ሰው የተሰጠውን ነፍስ ሲንቅ ነው፤ እንደዚያ ከሆነ ድሃም ይጠግባል። ግንበኛ መሆኑ ምን ይለውጣል? የግንበኛ ልጅ ያለ አባት ሲቀር አያለቅስም? እኔ የምሠራው አደጋ የደረሰባቸው በሚተኙበት ክፍል ነው። በተራ መንገድ ከሞተር የወደቁ ልጆችን ገላ አጥቤያለሁ። 2022 ላይ በአንድ የቲቲ ዝግጅት በደረሰ አደጋ 6 ሰው ነው ያለቀው። አባትና ልጅ በአንድ ሳይድካር (ሁለት ሰው የሚይዝ ባለ ሦስት ጎማ ሞተር) ላይ አብረው ሞተዋል። ያንን ለአንዲት እናት ማን ነው የሚነግራት?

አዲስ ገቢ፦
ይቅርታ፣ የማን ደሴት ነው የምትሉት? ባለቤቱ ማነው?

ሰንሰለት፦
«ማን» የደሴቱ ስም ነው ወንድሜ። በእንግሊዝና በአየርላንድ መካከል ያለ፣ የራሱ ፓርላማ ያለው ደሴት ነው። ጥያቄህ ግን ጥሩ ቦታ ነው የመጣው፤ ውድድሩ እዚያ የተጀመረው በዚሁ ምክንያት ነውና። በ1903 የእንግሊዝ ሕግ ፍጥነትን በሰዓት 20 ማይል ገደበ፤ ለውድድር መንገድ መዝጋትም አይፈቀድም ነበር። ደሴቱ በ1904 የራሱን ሕግ አውጥቶ ለመኪና መንገድ ዘጋ፤ በ1907 ደግሞ የሞተሩ ቲቲ ተጀመረ። የመጀመሪያውን ውድድር ቻርሊ ኮሊየር በማችለስ ሞተር ሲያሸንፍ አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት 61 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። ከዚያ በ1911 ወደ ተራራው መንገድ ተዛወሩ፤ አንዱ ዙር 60.7 ኪሎ ሜትር፣ ኩርባው ከ200 በላይ። ፒተር ሂክማን በ2023 ያንን ዙር በአማካይ 219 ኪሎ ሜትር በሰዓት ጨረሰው። በአማካይ ነው የምላችሁ! ኩርባውም፣ ድልድዩም፣ መንደሩም ተቆጥሮ።

ሲስተር ከሊቨርፑል፦
አየህ፣ የሞተውን በአንድ መስመር አለፍክ፤ ስለ ፍጥነቱ ግን አንድ ገጽ ጻፍክ።

ቦሎኛ፦
ሲስተር ልክ ናት። ጥጋብ የሚለው ቃል ከበደ ካላችሁ የጃኮሞ አጎስቲኒን ሥራ ተመልከቱ። 15 ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን፣ ቲቲን ራሱን 10 ጊዜ ያሸነፈ ሰው ነው። በ1972 ጓደኛው ጂልቤርቶ ፓርሎቲ በዝናብ እዚያ ሲሞት ሁለተኛ አልሄድም አለ። ፊል ሪድና ባሪ ሺንም ተከተሉ። ከ1976 በኋላ ቲቲ ከዓለም ሻምፒዮና ተሰረዘ፤ የብሪታንያው ውድድር በ1977 ወደ ሲልቨርስቶን ትራክ (ለውድድር ብቻ ወደተሠራ መንገድ) ሄደ። ትራክ ላይ ብትወድቅ የሚቀበልህ ጠጠርና ሣር ነው። ማን ደሴት ላይ የሚቀበልህ የድንጋይ ካብ ነው። የፈራ ሰው አይደለም የተወው፤ ያሸነፈ ነው።

ሰንሰለት፦
አጎስቲኒን አከብረዋለሁ። ግን አንተ የዱካቲ ሞተር ፋብሪካ ያለበት ከተማ ልጅ ነህ። ማይክ ሄይልውድ ከቲቲ 11 ዓመት ርቆ በ1978 ሲመለስ በምን ሞተር አሸነፈ? በዱካቲ። እስከ ዛሬ ያ ድል የሚወራው ለምንድን ነው? ሆንዳስ? ሶይቺሮ ሆንዳ ገና በ1954 ቲቲ እንሄዳለን ብሎ አወጀ፤ በ1959 መጡ፤ በ1961 አሸነፉ። ዛሬ አዲስ አበባ ላይ ሆንዳ ሲባል ጥራት ብለን የምንሰማው ስም ማንነቱን ያስመሰከረው እዚያ መንገድ ላይ ነው። ፋብሪካው በካቡ አጠገብ አልፎ ስም ሠርቶ፣ በኋላ ካቡ ክፉ ነው ቢባል አይዋጥልኝም።

ቦሎኛ፦
ዱካቲን አትንካ። ፋብሪካ ስም ስላገኘ የሞተው ሰው ሞት ይቀላል? ሄይልውድን ካነሳህ ደግሞ ሙሉውን ተናገር፤ ከቲቲ በሕይወት ወጥቶ በ1981 ከልጆቹ ጋር ምግብ ሊገዛ ሲሄድ በመኪና አደጋ ነው የሞተው።

የመርካቶ ልጅ፦
ይኸው! ሞት የትም አለ ማለት አይደል?

ሲስተር ከሊቨርፑል፦
አይደለም። እባካችሁ ይሄን ክርክር እዚህ አታምጡት። ሞት የትም አለና ሄደን እንገናኘው አይባልም። አስተማሪም በመኪና ይሞታል፤ ከትምህርት ቤቱ መምህራን ግን በሁለት ሳምንት 6 ሞተው ትምህርቱ ቢቀጥል ዝም ትላለህ? ደግሞ በዚያው በ2022 እያንዳንዱ ተወዳዳሪ ላይ ጂፒኤስ ገባ፣ ዲጂታል ቀይ ባንዲራ (ውድድሩን የሚያስቆም ምልክት) ተተከለ፣ ደኅንነት ተሻሻለ ተባለ። በዚያው ዓመት!

የመርካቶ ልጅ፦
እሺ ሲስተር፣ ግን ነገሩ «መንግሥት ቢዘጋው» ወደሚለው መሄዱ ነው እኔን የሚያመኝ። በ2011 ዓ.ም. (በእኛ) አዲስ አበባ ላይ ሞተር ሲከለከል በሞተር ዕቃ አመላልስ ነበር። የኪራይ ቤት፣ ሁለት ልጅ። በአንድ ማስታወቂያ ሥራዬ አለቀ። ያኔም ብዙ ሰው «ጥሩ ተደረገ፣ ሞተረኛ ዱርዬ ነው» አለ። ያልነዳ ሰው ሲከለክል አይጨንቀውም። ዝጉት ለማለት አትቸኩሉ።

ሲስተር ከሊቨርፑል፦
ወንድሜ ያንተ እንጀራ ነው። ይሄ ጨዋታ ነው። አታመሳስለው።

የመርካቶ ልጅ፦
ደሴቱ 84 ሺህ ሰው ነው ያለው ይባላል፤ ለቲቲ ከ40 ሺህ በላይ እንግዳ ይገባል። አልጋ የሚያከራየው፣ ምግብ የሚሸጠው፣ ጎማ የሚቀይረው እንጀራው አይደለም?

ሲስተር ከሊቨርፑል፦
ነው። የሚጋገረው ግን በሌላ ሰው ነፍስ ነው።

ጋሽ ፈረስ፦
ልጆች፣ ዕድሜዬ ስለገፋ ዘግይቼ አነበብኩት። ጥጋብ የሚለው ቃል እኛ አገር ለጉግስም ተብሏል። ልጅ ሆኜ የጥምቀት ዕለት ጉግስ ላይ ፈረስ ከፈረስ ሲጋጭ አይቻለሁ። ጥርስ የረገፈበት፣ ዓይን የጠፋበት ሰው አውቃለሁ። ገናም ቢሆን ዱላው እግር ይሰብራል፤ ሆኖም «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ተባለ እንጂ ገና ይቅር አልተባለም። በሜዳው ውስጥ የገባ ሰው ፈቅዶ ገብቷል። ጀግንነት የሚባል ነገር ያለ አደጋ ከየት ይመጣል? ስለ ደንሎፕ ቤተሰብ ያለውን እስቲ አንዳችሁ በደንብ ንገሩኝ።

ሰንሰለት፦
ጋሼ፣ ስለጠየቁኝ ደስ ይለኛል። ጆይ ሰሜን አየርላንዳዊ ነው። ውድድር በሌለበት ጊዜ ለሩማኒያ፣ ለቦስኒያና ለአልባኒያ ሕፃናት ማሳደጊያዎች ምግብና ልብስ በመኪና ጭኖ ይወስድ ነበር። በ2000 ኢስቶኒያ ውስጥ ታሊን ላይ በዝናብ ሲወዳደር ሞተ። ቀብሩ ላይ 50 ሺህ ያህል ሰው ተገኘ። ወንድሙ ሮበርት በ2008 ኖርዝ ዌስት 200 በሚባለው የሰሜን አየርላንድ የመንገድ ውድድር ልምምድ ላይ ሞተ፤ ሐሙስ ነበር። የሮበርት ልጅ ማይክል ቅዳሜ ዕለት እዚያው መንገድ ላይ ተነሥቶ ያንኑ የ250 ሲሲ ውድድር አሸነፈ። አባቱ ገና አልተቀበረም ነበር። የማይክል ወንድም ዊልያም በ2018 ደብሊን አጠገብ ስኬሪስ ላይ ሞተ። ማይክል ግን ቀጠለ፤ በ2024 የአጎቱን 26 ድል አልፎ 29 አደረሰው።

ሲስተር ከሊቨርፑል፦
አባቱ ሬሳ ሆኖ ቤት ውስጥ ተኝቶ! ሰው ሐዘን ይቀመጣል እንጂ ሞተር ላይ ይቀመጣል? እኔ ይሄን ሳነብ ልጁን አይደለም የማስበው። እናትየውን ነው። ባሏን ሰጠች፣ አንዱን ልጇን ሰጠች፣ ሌላው አሁንም ይነዳል።

ጋሽ ፈረስ፦
ሲስተር ልጄ፣ ለቅሶ አንድ ዓይነት አይደለም። ጀግና ሲሞት ፈረሱ በሙሉ ዕቃው ተጭኖ፣ ጋሻውና ጦሩ ተይዞ በለቅሶው መሐል ይዞር ነበር። ይፎከርለት ነበር። ያ ልጅ ያደረገው ይኸንኑ ነው፤ የአባቱን ፈረስ በለቅሶው ላይ አዞረ።

ሲስተር ከሊቨርፑል፦
ጋሼ በአክብሮት ነው የምናገረው። የሟች ፈረስ ይሳባል እንጂ አይጋለብም። ባዶ ኮርቻው ነው የሚያስለቅሰው። ሰው የለበትም! ልጁ ግን ባዶ መሆን በነበረበት ኮርቻ ላይ ራሱ ወጣ።

ጋሽ ፈረስ፦
በእኛ በኩል ይጋለባልም። ወንድም ወይም ልጅ ወጥቶ እየፎከረ ይጋልበው ነበር። በዓይኔ ያየሁትን ነው።

ቦሎኛ፦
ፈረሱን ተዉት። ጋሼ ፈቅዶ ገባ አሉ፤ እሺ፣ ተወዳዳሪው ፈቀደ። በ2007፣ የመቶኛው ዓመት በዓል ላይ፣ በዋናው ውድድር አንድ ተወዳዳሪ ወድቆ ሁለት ተመልካች አብሮ ገደለ። ሁለት የመንገድ አስተባባሪዎችም ተጎዱ። እነሱም ሜዳ ገብተዋል ትላላችሁ?

ሰንሰለት፦
ለዚህኛው መልስ የለኝም። የሌለኝን አለኝ አልልም። እኔም አጥር ጥግ ተቀምጬ ያየሁ ሰው ነኝና ያመኛል።

እስቲ ያየሁትን ልንገራችሁና ከዚያ ፍረዱኝ። ከሂሻም በመርከብ ተሻገርኩና ባላው የሚባል መንደር ሄድኩ። አንድ ጎባጣ የድንጋይ ድልድይ አለ፤ ሞተሩ ከነሰውየው ከመሬት ተነስቶ ነው የሚያልፈው። ተወዳዳሪዎቹ አብረው አይነሡም፤ በየ10 ሴኮንዱ አንድ አንድ እየሆኑ ይለቀቃሉ፤ ስለዚህ ሩጫው ከሰዓት ጋር ነው። መጀመሪያ የምትሰማው ድምፁን ነው፣ ከሩቅ፣ ከዛፎቹ ጀርባ። ፍሬን ይይዛል፣ ማርሽ ሲቀንስ ትሰማለህ፣ ድልድዩ ላይ ሲደርስ ዝም ይላል፣ ያረፈ ጊዜ መሬቱ እግርህ ሥር ይርዳል። አጠገቤ የተቀመጡት ባልና ሚስት ሽማግሌዎች ናቸው፤ ሻይ በፔርሙዝ ይዘዋል፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ እዚያው ቦታ ይመጣሉ። በኋላ ቀይ ባንዲራ ወጣ። ሄሊኮፕተር ከራሳችን በላይ አለፈ። ማንም ሰው አንድ ቃል አልተናገረም። ሴትዮዋ ጨርቋን አጣጥፋ እጇን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። እኔ እንደዚያ ያለ ዝምታ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንኳ አልሰማሁም። እነዚያ ሰዎች ሞት የሚያምራቸው አይደሉም። ሰው ጠግቦ ከሆነ እንደዚያ አይደነግጥም።

ሲስተር ከሊቨርፑል፦
ያ ዝምታ እኔ ክፍል ውስጥም አለ። እኔም እጄን ጭኔ ላይ አስቀምጣለሁ። ልዩነቱ እኔ በማግስቱ ሻይ ይዤ ሌላ እንዲወድቅ አልጠብቅም።

ሰንሰለት፦
እንዲወድቅ የሚጠብቅ ማን ነው? ይሄን አንሺው! ሰውየው እንዲያልፍ ነው የሚጠበቀው። እሱ ካልገባሽ ሁሉም አልገባሽም።

ሲስተር ከሊቨርፑል፦
እሺ፣ እንዲወድቅ የሚለውን አነሣሁ። ተሳስቻለሁ፤ ይቅርታ። ጥጋብ የሚለውን ግን አላነሣም።

የመርካቶ ልጅ፦
ለምን ታነሣዋለች? አንተስ «ዝጉት» የሚለውን ለምን አታስነሣትም? ቃል ሰው አይገድልም፣ ሥራም አያሳጣም። ማስታወቂያው ነው የሚያሳጣው።

ቦሎኛ፦
ማንም ዝጉት አላለም። ወደ ትራክ ውሰዱት ነው ያልነው።

ሰንሰለት፦
ወደ ትራክ ከሄደ ቲቲ አይደለም። ትራክማ በየአገሩ አለ። ያ መንገድ የፖስታ ቤት መንገድ ነው፣ ልጆች ትምህርት ቤት የሚሄዱበት፤ ሰኞ ዕለት አውቶቡስ ያልፍበታል። አንድ ሰው ከ200 በላይ ኩርባውን፣ የትኛው ዛፍ ሥር እንደሚረጥብ፣ የትኛው ጉድጓድ ክዳን እንደሚያንሸራትት በቃሉ ይዞ፣ እንደ ዳዊት ደጋሚ። ለመማር ዓመታት ይፈጃል። ይሄ ነው የሚስበኝ። ፍጥነቱማ አውሮፕላን ላይም አለ።

ሲስተር ከሊቨርፑል፦
ዳዊት የደገመ ሰው ገጽ ቢዘል ካብ አይመታውም። ቅዳሜ ሌሊት ተረኛ ነኝ፤ ልተኛ። ሰንሰለት፣ አንተም ሞተር እንደምትነዳ አውቃለሁ። በዚህ ዝናብ ቀስ ብለህ ንዳ።

ሰንሰለት፦
እሺ ሲስተር። ጥጋብ የሚለውን ግን እያሰብሽበት ተኚ።

ጋሽ ፈረስ፦
ፈረሱ ይጋለባል። የሸዋ ሰዎች ካላችሁ እስቲ መስክሩ።