ሌባውም ኑሮውም አማረረን፤ እንሂድ ወይስ እንቆይ?

የሂሳብ_ሰው (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

34 ዓመቴ ነው፣ አካውንታንት ነኝ። ባለቤቴ 37 ነው፣ የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህር። የስድስት ዓመት ልጅ አለችን። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ስለ ውጭ አገር ሲወራ "እኛ እዚሁ ነን" ብለን እናልፍ ነበር። አሁን ግን ሁለት ነገር ተደራረበብኝ።

አንደኛው ሌባ ነው። ከሥራ ስመለስ፣ ገና በደንብ ሳይመሽ፣ ሁለት ልጆች በሞተር መጥተው ስልኬን ከጆሮዬ ላይ መንትፈው ሄዱ። ስልኩስ ይሁን። ከዚያ ወዲህ ከኋላዬ የሞተር ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ቦርሳዬን አቅፌ ግድግዳ ላይ እለጠፋለሁ። ብዙም ሳይቆይ የጎረቤታችንን ቤት ሰብረው ገቡ። ልጄ "እኛ ጋስ መቼ ነው የሚመጡት?" ብላ ጠየቀችኝ። የምመልስላት ጠፋኝ።

ሁለተኛው ኑሮው ነው። ሁለታችንም ደሞዝተኛ ነን። ኪራይ፣ የትምህርት ቤት፣ ትራንስፖርት ከተከፈለ በኋላ የሚቀረው ወር አያደርስም። ድሮ የምናስቀምጣት ነገር ነበረች፣ አሁን ከእሷ ላይ እየቆነጠርን ነው።

ውጭ ያለው ወንድሜ በደወለ ቁጥር "ምን ትጠብቃላችሁ?" ይለኛል። ባለቤቴ ደግሞ ንቅንቅ አይልም። እናቱ ብቻቸውን ናቸው፣ ሥራውንም ይወዳል። እኔም ብሆን ቁርጤን አላወቅኩም። ማታ ልሂድ ብዬ እተኛለሁ፣ ጠዋት ደግሞ የምን መሄድ እላለሁ።

የሄዳችሁም የቀራችሁም እውነቱን ንገሩኝ። ውጭ ሲወጣ ኑሮ ይቀላል ወይስ ሌላ ዓይነት ሸክም ነው? የሚሞከር ከሆነስ በእሱ በኩል ነው በእኔ? "ሂጂ፣ ምን ትሠሪያለሽ" ብቻ ብላችሁ አትለፉኝ።

የማታ_ፈረቃ

እህቴ፣ ያለሁት ጀርመን ነው፣ የምነግርሽም የዚህን ብቻ ነው። በመጀመሪያ ሁለቱን ነገር አትቀላቅያቸው።

የምትሸሺው ሌባውን ከሆነ፣ አዎ፣ ልዩነት አለው። ከሥራ የምወጣው እኩለ ሌሊት አልፎ ነው። ማዳመጫዬን ጆሮዬ ላይ ሰክቼ በእግሬ ቤቴ እገባለሁ። ሌባ የለም አልልሽም፤ ብስክሌት ይሰረቃል፣ ባቡር ጣቢያ ላይ ኪስ ይገባል። ግን ዞር ዞር እያልሽ አትሄጂም።

የምትሸሺው ኑሮውን ከሆነ ግን ቆም በይ። ወንድምሽ የሚነግርሽ ደሞዝ ሳይቆረጥ ያለው እንዳይሆን ጠይቂው። እዚህ አማካይ ደሞዝ ከሚያገኝ ላጤ ላይ ግብሩ፣ ጡረታው፣ የጤና መድኑ ሁሉ ተደምሮ ከሦስት አንድ እጅ በላይ ይቆረጣል። ልጅ ላለው ባለትዳር ይቀላል። የተረፈውን ደግሞ ኪራይ አፉን ከፍቶ ይጠብቀዋል። አከራዩ መያዣ ብሎ እስከ ሦስት ወር ኪራይ እንዲጠይቅሽ ሕጉ ይፈቅድለታል። ብዙ ቤት ደግሞ ወጥ ቤቱ ባዶውን ነው የሚሰጥሽ። ባዶ ስልሽ የዕቃ ማጠቢያው ገንዳ ሳይቀር የለም፣ ከግድግዳው የወጣ ቱቦ ብቻ ነው የምታይው፣ ገዝተሽ ታስገጥሚያለሽ። ቴሌቪዥን ኖረሽም አልኖረሽም በየቤቱ ለሕዝብ ሬዲዮና ቴሌቪዥን በወር 18.36 ዩሮ አለ። አዲስ ሰው ደብዳቤው ሲደርሰው አጭበርባሪ የላከው ይመስለዋል፣ አይደለም፣ ይከፈላል።

ሌላውንም ልንገርሽ። የመንግሥት ትምህርት ቤት ክፍያ የለውም። ልጅሽ ብትታመም እጄ ላይ ስንት አለ ብለሽ ሳታስቢ ሐኪም ቤት ትሮጫለሽ። የልጅ አበልም አለ፣ በ2025 በወር 255 ዩሮ ነበር። ስለዚህ የእናንተ ስሌት ከእኔ ከላጤው ይለያል።

መንገዱን ከጠየቅሽኝ፣ ከጁን 2024 ጀምሮ "የዕድል ካርድ" የሚባል አለ። ነጥብ ይቆጠርና ቢያንስ 6 ካገኘሽ ሥራ ለመፈለግ እስከ አንድ ዓመት መቆየት ትችያለሽ፣ እስክትቀጠሪ በሳምንት 20 ሰዓት መሥራትም ይፈቀዳል። በዕድሜ በኩል እስከ 35 ድረስ 2 ነጥብ ነው፣ ከዚያ እስከ 40 አንድ። ችግሩ መተዳደሪያሽን አስቀድመሽ ማሳየት አለብሽ፣ አብዛኛውን ጊዜ በዝግ ሒሳብ፣ ማለትም በየወሩ የተወሰነ ብቻ በሚያስወጣ የባንክ ሒሳብ አስቀምጠሽ። በ2025 በወር 1,091 ዩሮ ነበር፣ በ12 አባዢው። እሱም ለአንድ ሰው ነው። ሦስታችሁ አንድ ላይ የምትገቡበት በር አይደለም፤ አንዱ ቀድሞ መጥቶ፣ ተቀጥሮ፣ ከዚያ ነው ሌላው የሚከተለው።

ቁልፍ_ሠሪው

እኔ የቀረሁ ነኝ። ሥራዬ ቁልፍ ነው፣ ሌባ የገነጠለውን በር ስጠግን ነው የምውለው። ስለዚህ ስለ ሌባው ልናገር፣ ሌላውን ለሌሎች ትቼዋለሁ።

ሰው ቤቱ አካባቢ ሲሰረቅ አገሩ በሙሉ የተሰረቀ ይመስለዋል። እንዲህ አይደለም። ዴቪድ ዋይስበርድ የሚባል የወንጀል ተመራማሪ ሲያትል የምትባለውን የአሜሪካ ከተማ መንገድ በመንገድ አጥንቶ፣ ከወንጀሉ ግማሽ ያህሉ የሚፈጸመው ከመንገዶቹ በመቶ አምስት ገደማ በሚሆኑት ላይ ብቻ መሆኑን አሳይቷል። ከዚያ ወዲህ ሌሎች ከተሞች ላይም ሲታይ ነገሩ ተቀራራቢ ሆኖ ነው የተገኘው። እኔም በሥራዬ የማየው ይሄንኑ ነው። አንድ መንገድ ላይ ደጋግመው ይጠሩኛል፣ ከሱ ሁለት መታጠፊያ አልፎ ያለው መንገድ ላይ ግን ሰው እኔን አያውቀኝም።

ስለዚህ አገር ከመልቀቅሽ በፊት ሰፈር መልቀቅን ለምን አታስቢበትም? ለቪዛ፣ ለፈተና፣ ለትኬት የምታወጡት ገንዘብ ሻል ያለ ሰፈር የስንት ወር የኪራይ ልዩነት እንደሚሸፍን አንቺ አካውንታንት ነሽ፣ አስቢው።

ሌላ ደግሞ አስቸኳይ ነገር አለ። የጎረቤት ቤት ከተሰበረ በኋላ ባሉት ሳምንታት አጠገቡ ያለው ቤት የመሰበር ዕድሉ ከፍ ይላል። ይሄም የተጠና ነገር ነው። ሌባው መግቢያ መውጫውን አውቆታል፣ የቤቶቹ አሠራርም ይመሳሰላል። ብዙ ሰው ደግሞ ውድ ቁልፍ ይገዛና በሩ ላይ ያሉትን አጫጭር ብሎኖች እንዳሉ ይተዋቸዋል። እኔ ጋ ከሚመጣው በር አብዛኛው ቁልፉ ደህና ነው። የተገነጠለው የቁልፉ ምላስ የሚገባበት ብረት ነው፣ ምክንያቱም የተያዘው በጣት ጥፍር በምታህል ብሎን እንጨቱ ላይ ብቻ ነው። ብረቱን ወፈር ባለ ቀይረሽ፣ እንጨቱን አልፎ ግድግዳው ውስጥ በሚገባ ረጅም ብሎን አሳስሪው። መሄዱንም መቅረቱንም ከወሰናችሁ በኋላ ሳይሆን በዚህ ሳምንት።

ነጥብ_ቆጣሪ

ካናዳ ነኝ። ቁልፍ ሠሪው ስለ በሩ ያለው ልክ ነው። ሰፈር መቀየሩ ግን ኑሮው ለከበደው ሰው በአፍ ነው የሚቀለው፣ ሻል ያለ ሰፈር ሁሉም ቦታ ኪራዩ ይወደዳል።

"በማን በኩል?" ላልሽው ልመልስ፣ የሚያዝናና ነገር ስላለበት። የካናዳው የነጥብ ሥርዓት ኤክስፕረስ ኢንትሪ ይባላል፣ ከ2015 ጀምሮ አለ። ባለትዳር አመልካች ለዕድሜ ሙሉ 100 ነጥብ የሚያገኘው ከ20 እስከ 29 ዓመቱ ነው። 34 ላይ 75 ትሆናለች፣ 37 ላይ 60፣ 45 ላይ ዜሮ። በዕድሜ ካየነው አንቺ ትበልጪዋለሽ።

ግን በ2025 መጀመሪያ ላይ የትምህርት ዘርፍ ብለው ለብቻው የሚጠሩት ምድብ ጨመሩ፣ የሁለተኛ ደረጃ መምህራንም አሉበት። ማለትም የሚፈለገው አልሄድም ያለው ሰውዬ ነው! አካውንታንት ብዙ ነው፣ ተወዳዳሪሽም ብዙ ነው። ሙያሽን ላሳንሰው አይደለም። ሂሳብ አያያዙ የትም ይሠራል፣ የአገርሽ የግብር ሕግ ግን አብሮሽ አይሻገርም፣ ስለዚህ ብዙዎቻችን ከታች፣ ደረሰኝ ከማስገባት ነው የጀመርነው። የሱም ቢሆን አልጋ በአልጋ አይደለም። መኖሪያ ፈቃድ ማግኘት አንድ ነገር ነው፣ ክፍል ውስጥ ገብቶ ማስተማር ሌላ። የማስተማር ፈቃዱን የሚሰጠው ክፍለ ግዛቱ ነው፣ የራሱ መስፈርት አለው፣ ጊዜም ይፈጃል። እስከዚያ የሚሠራው ሥራ ሒሳብ ማስተማር ላይሆን እንደሚችል አሁኑኑ ይወቀው።

አየሩም ተቀይሯል። ለ2024 ታቅዶ የነበረው የቋሚ ነዋሪ ቁጥር 485,000 ነበር፣ የ2025ቱን ወደ 395,000 አወረዱት። የሥራ ቅጥር ደብዳቤ ላለው ይሰጥ የነበረውን ተጨማሪ ነጥብም በማርች 2025 አነሱት። ስለዚህ "የቅጥር ደብዳቤ እናወጣልሻለን፣ ነጥብሽ ይጨምራል" የሚልሽ ደላላ ቢመጣ በሩን ዝጊበት፣ ቁልፍ ሠሪው ባለው ረጅም ብሎን።

ፈረንሳይኛ የምትችሉ ከሆነ ደግሞ ሌላ ወሬ ነው። የፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች መቁረጫ ነጥብ፣ ማለትም ለመጠራት የሚበቃው ጠቅላላ ነጥብ፣ በ2025 ከ400 በታች የወረደበት ጊዜ አለ፣ ካናዳ ውስጥ የሠሩት እንኳ ከ500 በላይ ሲጠየቁ።

ትልቋ_እህት

ሁላችሁም ስለ ነጥብ ታወራላችሁ፣ ሰውየው አልሄድም ብሏል እኮ።

እህቴ፣ ባልሽን ጎትተሽ አትውሰጂው። ያልፈለገውን ሰው ይዘሽ ስትሄጂ እዚያ የሚደርስበት ነገር ሁሉ ባንቺ ይሳበባል። ሥራ ሲያጣ "አንቺ ነሽ ያመጣሽኝ"፣ እናቱ ሲታመሙ "አንቺ ነሽ"። አጠገቤ ስንቱን አየሁ። እናትየውን ማን ይጠይቃቸዋል የሚለውንም በ"አምላክ ያውቃል" አትለፉት። እህት ወንድም አለው? ከሌለው ማን ሐኪም ቤት ይወስዳቸዋል? ይሄ ሳይመለስ ፎርም አይሞላም።

የወንድምሽንም ነገር በደንብ አጣሪ። ሲደውልልሽ የሚያወራልሽ ስለ እረፍት ቀኑ ነው ስለ ሥራ ቀኑ? ብትሄጂ ደግሞ አንቺም ላኪ ትሆኛለሽ፣ ተቀባይ መሆን ያበቃል። ለባልሽ እናት፣ ለራስሽ ቤተሰብ፣ ለታመመ፣ ለሚዳር። መላኪያው ራሱ ይበላል፣ የዓለም ባንክ የሚያወጣው ዓለም አቀፍ አማካይ 200 ዶላር ለመላክ ከ6 በመቶ በላይ ነው። ኑሮው ላይ ይሄንን ያልደመረ ስሌት ግማሽ ስሌት ነው።

እንዲህ ስልሽ ቅሪ ማለቴ አይደለም። ልጅ "መቼ ነው የሚመጡት" ብላ ከጠየቀች እሱም ቀላል አይደለም። ግን ከሱ ጋር ቁጭ ብላችሁ "ምን ቢሆን እንሄዳለን? ምን ቢሆን እንቀራለን?" ተባባሉ። በየማታው ከምትነታረኩ አንድ ቀን ጨክናችሁ አውሩት።

የሂሳብ_ሰው (ጠያቂ)

ሁላችሁም አምላክ ይስጥልኝ፣ ይህን ያህል አልጠበቅኩም። ሁሉንም ለባለቤቴ አነበብኩለት። አልሄድም ያለው ሰውዬ ነው የሚፈለገው የሚለው ጋ ስደርስ ሳቁን መያዝ አቃተው፣ ከዚያ "እስቲ መልሰሽ አንብቢልኝ" አለኝ። ያ ለእሱ ትልቅ ነገር ነው።

ትልቋ እህት፣ ልክ ነሽ፣ እህት አለችው ግን ራቅ ብላ ነው የምትኖረው። ከእሷ ጋር ሳይነጋገር አንድም ነገር እንደማያደርግ ነግሮኛል፣ እኔም ተስማምቻለሁ። በሩም ነገ ይሠራል።

ለጊዜው ሳንወስን ብንጀምረው የማይጎዳን ነገር አለ? ገንዘብ ብዙ የማያስወጣ ማለቴ ነው። ዕድሜው ነጥብ እየበላ ነው ስትሉ ደነገጥኩ።

ነጥብ_ቆጣሪ

አለ። የቋንቋ ፈተናውን አሁን አትፈተኑ፣ ውጤቱ የሚያገለግለው ለሁለት ዓመት ነው፣ ሳትወስኑ ጊዜው ያልፍባችኋል። ጥናቱን ግን ጀምሩ። የትምህርት ማስረጃ ግምገማው ለካናዳ አምስት ዓመት ያገለግላል፣ ስለዚህ በሱ ጀምሩ፣ የሁለታችሁንም። ከዩኒቨርሲቲ ታሽጎ የሚላክ ትራንስክሪፕት አብዛኛውን ጊዜ ከሁሉ በላይ የሚያዘገየው እሱ ነው።

ከዚያ በፊት ግን ዛሬ ማታ ፓስፖርታችሁን፣ ዲግሪያችሁን፣ የጋብቻና የልጅቷን የልደት ምስክር ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ደርድራችሁ በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ስም ፊደል በፊደል አስተያዩ። አንዱ ላይ በአንድ ኤስ፣ ሌላው ላይ በሁለት ኤስ፣ አንዱ ላይ የአያት ስም አለ፣ ሌላው ላይ የለም፣ እዚህ ላይ ነው ብዙ ፋይል የሚንጓተተው። የማይመሳሰል ካገኛችሁ የሚስተካከለው እዚያው እያላችሁ ነው። ከሄዳችሁ በኋላ በውክልና ማሳረም አበሳ ነው።

የማታ_ፈረቃ

የልደት ቀኑንም እዩ። እኔን ከስሙ በላይ ያንከራተተኝ እሱ ነው።